ለራሱ ያልነፋት ጥሩምባ

አንድ ጥሩምባ ነፊ ነበረ። ስሙ ዘርጋው ይባላል። ወንዝ ለሁለት በከፈላት አንዲት ትንሽ ከተማ ውስጥ፣ ከጉርምስናው ጀምሮ ፀጉሩ እስኪሸብት ድረስ የእድሩ ለፋፊ ሆኖ ኖሯል። ሰው ሲሞት ጎህ ሲቀድ ከከተማዋ በላይ ያለችው ኮረብታ ላይ ይወጣና ጥሩምባውን ይነፋል፤ ከዚያ የሟቹን ስምና የቀብሩን ሰዓት ይናገራል። ያቺ ድምፅ ስትሰማ ሊጥ የምታቦካ ሴት እጇን ሳትታጠብ ትወጣለች፤ ጢሙን የሚላጭ ሰው ግማሹን ትቶ ይወጣል። የተጣላ ሳይቀር ይወጣል። በዚያች ከተማ ሹም ስብሰባ ቢጠራ ግማሹ ሰው ይቀራል፤ ዘርጋው ሲጠራ ግን የሚቀር የለም።

ሰው ዘርጋውን ይወደዋል። ቢሆንም መንገድ ላይ ሲያገኘው ከፊቱ በፊት እጁን ነው የሚያየው።

«ጋሽ ዘርጋው፣ ዛሬ ባዶ እጅዎን ነዎት አይደል?»

«ባዶዬን ነኝ፣ በሰላም ዋሉ» ይላል እየሳቀ። እፎይ ብለው የሚጨብጡት ያኔ ነው።

አንድ ክረምት ወንዙ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞላ። ከማዶ ሰፈር ምጥ የያዛትን አንዲት ወጣት በቃሬዛ ተሸክመው አመጡ። ጤና ጣቢያው ከወንዙ ወዲህ ነው፤ ጣሪያው ከዚያ ሆነው ይታያቸዋል። ድልድይ ስለሌለ ተሸካሚዎቹ ውሃው እስኪጎድል ዳር ቆመው ጠበቁ። ውሃው ሲጎድል ልጅቷ በሕይወት አልነበረችም።

በማግስቱ ዘርጋው ኮረብታዋ ላይ ሆኖ ስሟን ሲጠራ ዓይኑ የጤና ጣቢያው ጣሪያ ላይ ነበር። የቀብሩን ሰዓት ተናግሮ ወረደና በቀጥታ ወደ ቤቱ ሄደ። ሚስቱ አሰገደች ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ሽንኩርት ትልጥ ነበር።

«አሰግዬ፣ ልወዳደር ነው።»

«ሩጫ?»

«ለከተማው ምክር ቤት።»

ቢላዋዋን አስቀምጣ አየችው። «አንተ ሰውዬ፣ ብርድ መቶሃል እንዴ?»

«ዕድሜ ልኬን ሰው መሞቱን ስናገር ኖርኩ» አላት። «ያቺ ልጅ ግን ድልድይ ቢኖር ኖሮ ዛሬ ስሟን አልጠራም ነበር። እኔ ሁልጊዜ የምደርሰው ከሞት በኋላ ነው። አንድ ጊዜ እንኳ ቀድሜ ልድረስ።»

አሰገደች ብድግ አለችና «እንግዲያው ሸሚዝህን አውልቅና ልጠብልህ፤ በዚህ አንገትጌ ማንም አይመርጥህም» አለችው።

ወሬው ከተማዋን ለማዳረስ አንድ ጠዋት በቃው። ጥሩምባ ነፊው ተወዳደረ! ሻይ ቤቱ፣ ወፍጮ ቤቱ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሁሉ አንድ ወሬ ሆነ። አንዳንዱ «ከእሱ የተሻለ ማን ያውቀናል?» ይላል። ሌላው «ሙት ያስነሣ እንጂ ሙት የጠራ አይመረጥም» ብሎ ያስቃል። ከዚያ በፊት ምርጫ መጣ ሄደ ግድ የማይሰጣት ከተማ እንቅልፍ አጣች።

ቅስቀሳው ሲጀመር ዘርጋው ከጓደኛው ከፀጉር አስተካካዩ ከምትኩ ጋር በር ለበር ወጣ። በመጀመሪያው ቤት ገና «ቤቶች!» ከማለቱ ከውስጥ ጩኸት ተሰማ። የቤቱ እመቤት ነጠላዋን አዘቅዝቃ እያለቀሰች ብቅ አለች።

«ማን ነው? ወንድሜ ነው? ቶሎ ንገረኝ!»

«ኧረ ማንም አልሞተም እትዬ! እንዲመርጡኝ ልጠይቅ ነው የመጣሁ።»

«አንተ!» አለች ደረቷን ይዛ። «እንድመርጥህ መጀመሪያ በሕይወት ልቆይ እንጂ!»

በሁለተኛው ቤት ሰውየው ድንኳኑ የት እንደሚተከል ጠየቀ። በሦስተኛው በሩንም አልከፈቱለት፤ በመስኮት «እኛ ጋ ሁሉም ደህና ነው፣ እለፍ! እለፍ!» አሉት። ምትኩ መንገድ ዳር ቁጭ ብሎ እንባው እስኪፈስ ሳቀ። ዘርጋውም መጀመሪያ ተቆጣ፤ ቀጥሎ አብሮት ሳቀ።

ተፎካካሪው የከተማዋ ትልቁ ነጋዴ ነበር። መኪና ላይ ድምፅ ማጉያና የሙዚቃ ቡድን ጭኖ፣ ኮፍያና ካናቴራ እያደለ ይዞራል። መኪናው ባለፈበት ሁሉ አቧራና ጭፈራ ነው። ጎረምሶቹ ከመኪናው ኋላ እየሮጡ «ዘርጋውን የመረጠ፣ ቀብሩን አስመዘገበ!» ይላሉ።

ተወዳዳሪዎቹ በአደባባዩ ንግግር እንዲያደርጉ ቀን ተሰጣቸው። ቅዳሜ ነጋዴው ተናገረ፤ አደባባዩ ጠበበ፣ አጥር ላይ ሳይቀር ሰው ተንጠለጠለ። እሑድ የዘርጋው ተራ ደረሰ። በታጠበው ሸሚዝ አምሮበት መጣ። አደባባዩ ላይ የነበሩት አሰገደች፣ ምትኩ፣ ጥቂት ሽማግሌዎችና ጥላ ሥር የተኛ አንድ ውሻ ናቸው።

ጠበቁ። ማንም አልመጣም። በመጨረሻ ምትኩ ከጋቢው ሥር ጥሩምባዋን አወጣ። ከዘርጋው ቤት ግድግዳ ላይ አውርዶ ይዟት መጥቶ ኖሯል።

«ንፋት!» አለው።

«ምን አልክ?»

«ንፋት እንጂ! ከተማው አንድ ሰው ሳይቀር ይወጣል። ከወጡ በኋላ ስለ ድልድዩ ትነግራቸዋለህ። የምትነግራቸው እኮ እውነት ነው!»

ዘርጋው ጥሩምባዋን ተቀበለ። አንድ ትንፋሽ ብቻ! ባዶው አደባባይ ግጥም ብሎ ሲሞላ ታየው። ድልድዩ ተሠርቶ ቃሬዛ በላዩ ሲያልፍ፣ ከወንዙ ወዲህ ሕፃን ሲያለቅስ ታየው። ጥሩምባዋን ወደ ከንፈሩ አስጠጋት።

ወዲያው ደግሞ ቤቶቹ ታዩት። ልጇ በሩቅ አገር መኪና የሚነዳባት እናት የጥሩምባዋን ድምፅ ስትሰማ ምን ታስባለች? ባሏ ሆስፒታል የተኛባትስ? ስሙ እስኪጠራ ድረስ እኮ በየቤቱ ሁሉም የየራሱን ሰው ይቀብራል። ጥሩምባዋን አወረዳት።

«አልችልም።»

«ለአንተ እኮ አይደለም ዘርጋው፣ ለድልድዩ ነው!»

«ሁሉም እንዲያ ብሎ ነው የሚጀምረው» አለ። «ይቺ የእድሩ ናት እንጂ የእኔ አይደለችም። ዛሬ ለጉዳዬ ብነፋት፣ ነገ ሰው ሞቶ ስነፋት ‹ደግሞ ዛሬ ምን ፈልጎ ነው?› ይሉኛል።»

«እንግዲያው ለውሻው ንገረው!» አለ ምትኩ በንዴት።

ዘርጋው ግን ለነበሩት ተናገረ። ስለ ወንዙ፣ ስለ ልጅቷ፣ ስለ ድልድዩ ነገራቸው። ውሻው ንግግሩ ሳያልቅ ተነሥቶ ሄደ።

ይህ ነገር ነጋዴው ጆሮ ደረሰ። «በእጁ የያዘውን የማያውቅ ሞኝ!» ብሎ ሳቀ። ረቡዕ ማለዳ ከሙዚቃ ቡድኑ መካከል ጥሩምባ የሚነፋውን ሰው ኮረብታዋ ላይ አውጥቶ የለቅሶውን ጥሪ አስነፋው።

ከተማዋ ግልብጥ ብላ ወጣች! ሰው ነጠላውን እያዘቀዘቀ፣ እየተጋፋ፣ «ማን ነው? ማን ነው?» እያለ ወደ ኮረብታዋ ጎረፈ። አንዲት አሮጊት ከደጃፋቸው ሲወጡ ወድቀው ክንዳቸው ተሰበረ። ነጋዴው መኪናው ላይ ቆሞ ድምፅ ማጉያውን አነሣ።

«ደስ ይበላችሁ፣ ማንም አልሞተም! ስለ ልማት ልነግራችሁ ነው!»

ቁጣው ፈነዳ። ኮፍያዎቹ ወደ መኪናው እንደ በረዶ ዘነቡ። በዚያ ሁሉ ጫጫታ መሐል ምትኩ ድንጋይ ላይ ወጥቶ «ዘርጋው እኮ እሑድ ዕለት ጥሩምባዋ በእጁ ነበረች! ንፋት ብዬ የጎተጎትኩት እኔው ነኝ! ባዶ አደባባይ ላይ ቆሞ እምቢ አለኝ!» እያለ ጮኸ። የሰሙት እርስ በርሳቸው ተያዩ። በዚያው ቀን የማዶ ሰፈር ሰዎች «በቅስቀሳው መዝጊያ ቀን መጥተህ አናግረን፣ ሁላችንም እንጠብቅሃለን» ብለው ላኩበት። ዘርጋው በደስታ እንቅልፍ አልወሰደው።

የቅስቀሳው መዝጊያ ቀን ሊነጋጋ ሲል የእድሩ ዳኛ የዘርጋውን በር አንኳኩ። የነጋዴው እናት እማማ አስካለ አርፈዋል። ዘርጋው ከዳኛውና ከምትኩ ጋር ኮረብታዋ ላይ ወጥቶ ነፋ። የሚከፈት በር የለም። ደግሞ ነፋ። ሰው ሁሉ «ነጋዴው ነው፤ ዛሬም ስለ ልማት ሊነግረን ነው» ብሎ ብርድ ልብሱን ተከናነበ። ዘርጋው የአስካለን ስም ሲጠራ በሩቅ የሰሙት ደግሞ «ለምርጫ ብሎ እናቱን ገደላት!» ብለው አማተቡ።

ነጋዴው ኮረብታዋን እየሮጠ ወጣ። ዓይኑ ደም መስሏል። «ጋሽ ዘርጋው፣ አንድም ሰው አልመጣም። እናቴን ማን ይቀብርልኛል?»

ከዘርጋው ጎን የቆመው ምትኩ ቀድሞ መለሰ። «ጥሩምባ ነፊህን ጥራው እንጂ! እሱ ይቅበርልህ!»

«ተው ምትኩ» አለ ዘርጋው። «እናት ናቸው።»

«ማዶ ሰፈር እየጠበቁህ ነው እኮ! ዛሬ ካልሄድክ አለቀ!»

ዘርጋው ወንዙን አሻግሮ አየ። ማዶ ካሉት ጎጆዎች ጭስ ይወጣል፤ ሰዎቹ ከአሁኑ መሰብሰብ ጀምረዋል። እነሱ ካልመረጡት ድልድዩም የለም። ጥሩምባዋን ለዳኛው ሰጣቸውና በባዶ እጁ ቁልቁለቱን ወረደ። የመጀመሪያውን ቤት አንኳኳ።

«ቤቶች! ዘርጋው ነኝ።»

«ለምርጫ ነው ለለቅሶ?» አለ የቤቱ አባወራ ከውስጥ።

«ለለቅሶ ነው። እማማ አስካለ አርፈዋል።»

«እውነት በለኝ!»

«እውነት ነው።»

«አንተ ካልክማ» አለና ጋቢውን ፍለጋ ዞረ።

በየቤቱ እንዲሁ ሆነ። ጥሩምባ ያላስወጣውን ሰው «ዘርጋው ነኝ» የሚል ቃል አስወጣው። ዘርጋው ድምፁ እስኪዘጋ ዞረ። ውሃው ጎድሎ ስለነበር የማዶ ሰፈር ሰዎችም የተሰበሰቡለትን ንግግር ትተው ለቀብሩ ተሻገሩ። ያን ቀን ስለ ድልድዩ አንዲት ቃል አልተናገረም። ቢፈልግም ድምፅ አልነበረውም።

የምርጫው ዕለት ሰልፉ ከአደባባዩ አልፎ እስከ ወንዙ ዳር ደረሰ። ክንዳቸው የተሰበረው አሮጊት ሳይቀሩ እጃቸው እንደታሰረ መጡ። ውጤቱ ሲለጠፍ መጀመሪያ ያየው ምትኩ ነው፤ መቀሱን ይዞ፣ ግማሽ ፀጉሩን የቆረጠለትን ደንበኛ ወንበር ላይ ትቶ ሮጠ። «አሸነፈ! ዘርጋው አሸነፈ!»

ሰዉ የዘርጋውን ግቢ ሞላው። «ንፋት! ዛሬስ ንፋት!» እያለ ይጮሃል።

ዘርጋው በሰለለ ድምፁ «ለምን፣ ማን ሞተ?» አለ። ግቢው በሳቅ ፈረሰ።

«ታዲያ ያልሰማው እንዴት ይስማ?» አሉት።

«እናንተ ንገሩታ!»

እነሱም ነገሩ። አንዱ በአጥር ላይ ለጎረቤቱ ጮኸ፤ ጎረቤቱ ለቀጣዩ። እልልታው ከቤት ወደ ቤት እየዘለለ ቁልቁል ወረደ። አሰገደች ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሥራ ከሁሉም በፊት ወንዙ ዳር ደረሰችና «ድልድዩ ሊሠራ ነው!» ብላ ተጣራች። ለጥቂት ጊዜ የውሃው ድምፅ ብቻ ተሰማ። ከዚያ ከማዶ፣ ከሴቶቹ፣ ከሽማግሌዎቹ፣ ከሁሉም፣ እልልታ መለሰላት።

ወዳጄ ሆይ፣ ሰው ሥልጣን የሚያገኘው ሲመረጥ ብቻ አይደለም። ሐኪም የሰውን ምስጢር ይዟል፤ መምህር የልጆችን ጆሮ ይዟል፤ እናትም የልጆቿን ፍርሃት ታውቃለች። ሁሉም በአደራ የተሰጠ ነው። አደራውን ለራሱ ጥቅም አንድ ጊዜ የነፋ ሰው ያን ቀን ብዙ ሰው ይሰበስብ ይሆናል፤ በእውነት የቸገረው ዕለት ግን በር የሚከፍትለት አያገኝም። ለራሱ መንፋት እየቻለ የተወ ሰው ደግሞ ጥሩምባው ቢወሰድበት እንኳ ስሙ ብቻ በር ያስከፍታል። እስቲ እንጠያየቅ፤ በአንተ እጅ፣ በአንቺ እጅ፣ የሌሎች የሆነች ምን ጥሩምባ አለች? እስከ ዛሬስ ለማን ስትነፋ ኖረች?