ዱላውን የሚያማክረው ሐኒኤል

ተረት ተረት።

— በይ አውጪው፣ ክፍት ነው የጆሯችን በረት።

ክፍት ከሆነ ጥሩ። አንተ ደግሞ እዚያ ጥግ ያለኸው፣ እህትህን መቆንጠጡን ተውና ስማ።

በድሮ ዘመን፣ በእስራኤል አገር፣ በኤፍሬም ተራራ ሥር ባለች መንደር፣ ሐኒኤል የሚባል ገበሬ ነበረ። ጉልበታም ነው። ገብሱም ወይኑም ሞልቶለታል። አንድ ነገር ብቻ አይሆንለትም። በራሱ መወሰን አይችልም።

ስለዚህ የወይራ ዱላ ነበረው። ግቢው መሃል ደግሞ ጠፍጣፋ ድንጋይ አለ። ሐኒኤል ጠዋት ይነሳና ዱላውን ድንጋዩ ላይ ያቆመዋል። ከዚያም ጎንበስ ይልና እርሻ ልውረድ ወይ ብሎ በሹክሹክታ ይጠይቀዋል። ከዚያም እጁን ይለቃል። ዱላው ወደ ቤቱ ከወደቀ እሺ ማለት ነው። ወደ አጥሩ በር ከወደቀ እምቢ ማለት ነው። በሬ ሲገዛ ዱላውን ይጠይቃል። ዘር ሲዘራ ዱላውን ይጠይቃል። አንድ ጊዜማ ጢሙን እየተከረከመ ሳለ ልቀጥል ወይ ብሎ ቢጠይቀው ዱላው እምቢ አለ። ሐኒኤልም ግማሽ ጢሙ አጥሮ ግማሹ ረዝሞ ሰነበተ።

ሚስት አለችው። ስሟ ኑዓ ነው። ኑዓ ዝምተኛ ነች። ከባሏ ፊት ይህ ይሁን፣ ያ ይቅር ብላ አታውቅም። ግቢውን የምትጠርገው እሷ ነች። እና አንድ ቀን ስትጠርግ አንዲት ጠጠር ከጠፍጣፋው ድንጋይ ሥር ገባችባት። ድንጋዩ ትንሽ ዘመም አለ። ሐኒኤል መጣና ዱላውን አቆመ። ዱላው ድንጋዩ ወደ ዘመመበት ወደቀ። ኑዓ አየች። በማግስቱ ጠጠሯን በወዲያኛው በኩል ሸጎጠቻት። ዱላውም በወዲህኛው በኩል ወደቀ።

ከዚያ ወዲያ ያን ቤት የሚያስተዳድረው ማን ይመስላችኋል?

— ዱላው።

ዱላው አላችሁ? ሐኒኤልም እንደናንተው ነበር የሚለው።

ኑዓ ጣሪያው ከዝናብ በፊት እንዲጠገን ስትፈልግ መጥረጊያዋን ታነሳለች። ባሏ ከወንድሙ እንዲታረቅ ስትፈልግ መጥረጊያዋን ታነሳለች። ጎረቤቶቿ ይቺ ሴት ጽዳት ትወዳለች አሉ። ሐኒኤልም የኔ ዱላ ጠቢብ ነው እያለ በየሄደበት ያወራል።

ቲርጻ የምትባል አንዲት ልጅ ነበረቻቸው። ታዲያ ከዮርዳኖስ ማዶ፣ ከገለዓድ፣ አንድ ባለ ግመል ሽማግሌ መልእክት ላከ። ልጃችሁን ለልጄ ስጡኝ፣ ከሰንበት በኋላ መጥቼ መልሱን እሰማለሁ አለ። ሐኒኤል የግመሎቹን ወሬ ሲሰማ ዓይኑ በራ። ዱላዬን ጠይቄ እነግረዋለሁ አለ። ኑዓ ግን ያሰበችው ልጇን ነው። ዮርዳኖስን ተሻግራ ያገባች ልጅ እናቷን ልትጠይቅ አትመጣም። ወንዙ ይሞላል። በመንገዱ ሽፍታ አለ። ከዚያም ልጅ ይወለዳል፣ በዚያው ይቀራል። ቲርጻ አለቀሰች። ኑዓም አታልቅሺ፣ እኔ ግቢውን እጠርጋለሁ አለቻት። ልጅቷ እናቴ አበደች ብላ ለቅሶው ባሰባት።

በዚያው ሳምንት ግን ካህኑ አሳብያ አዋጅ ይዞ ወደ መንደሩ መጣ። ከእንግዲህ በእስራኤል ዘንድ ጠንቋይ አይገኝ፣ ሞራ ገላጭ አይገኝ፣ ሙታን ጠሪ አይገኝ አለ። በጽዋ ውሃ፣ በቀስት፣ በበትር የሚጠይቅ ሰው ከነቤተሰቡ ከመንደር ይወጣል አለ። እግዚአብሔር ሕያው ሆኖ ሳለ ሕዝቡ እንጨት ሲያናግር ማየት ያስቀይመዋል አለ። ሰው ሁሉ ያለውን ያምጣ አለ።

ሰው ለካ ያልያዘው ነገር የለም። አንዷ የዱቄት እንስራዋን ገለበጠችና የሸክላ ጣዖት አወጣች። አንዱ የሚጠነቁልበትን በበግ ጉበት አምሳል የተሠራ ሸክላ አመጣ። ደመና እያየ የሚጠነቁለው ሰውዬ ምን ላምጣ ብሎ ተቸገረ። ካህኑም ወደ ላይ አትይ አለው። ሰውዬው ታዘዘና መሬት መሬት እያየ ሲሄድ ከገዛ አህያው ጋር ተላተመ።

ሐኒኤልም ዱላውን ይዞ እያነከሰ መጣ። ይቺ ለመደገፊያ ነች አለ። ካህኑም እግርህን ምን አገኘህ አለው። ወድቄ ቀኙ ተጎዳ አለ። እስኪ እስከዚያ ዛፍ ደርሰህ ተመለስ ተባለ። ሐኒኤል በቀኙ እያነከሰ ሄደ። በግራው እያነከሰ ተመለሰ። መንደሩ ሳቀ። ካህኑም ዱላውን ተቀበለውና እሳት ውስጥ ከተተው።

ሰዉ ሁሉ ለሐኒኤል አዘነ። ኑዓ ከኋላ ቆማ ነበር። እሳቱ ውስጥ የገባው የእሷ አፍ እንደሆነ ማንም አላወቀም።

ሰንበት አለፈ። ባለ ግመሉ መጣ። ወይኑ ሥር አስቀመጡት፣ ወተትና የተጠበሰ እሸት አቀረቡለት። ጠጣና አፉን ጠረገ። ከዚያም ምን ትላላችሁ አለ። ሐኒኤል ጠፍጣፋውን ድንጋይ አየ። አንዴ ልመለስ ብሎ ወደ ጓዳ ገባ። ኑዓም ተከትላው ገባች። ብታየው የሷን መጥረጊያ ገልብጦ ሊያቆም ይታገላል።

ኑዓ፦ የቲርጻ አባት፣ አስቀምጠው። ከመንደር ልታስወጣን ነው።

ሐኒኤል፦ ታዲያ ማንን ልጠይቅ? ሰውዬው ደጅ ተቀምጧል እኮ።

ኑዓ እጇን ጨበጠች። ጠጠሯ እጇ ውስጥ ነበረች፣ በላብ ረጥባለች። ዝም ብትል ልጇ ትሄዳለች።

ኑዓ፦ አትስጣት።

ሐኒኤል፦ ምን አልሽ?

ኑዓ፦ አትስጣት አልኩህ። ወንዙ ሲሞላ ማን ያሻግራታል? ምጥ ሲይዛት ማን አጠገቧ ይቀመጣል፣ ግመሉ?

ሐኒኤል ቁጭ አለ። አነጋገርሽ ቁርጥ ዱላዬን ነው አላት። ኑዓም እጇን ከፈተችና ጠጠሯን አሳየችው። ሐኒኤል ጠጠሯን አየ። መጥረጊያውን አየ። በበሩ በኩል ድንጋዩን አየ።

ሐኒኤል፦ ጣሪያውስ?

ኑዓ፦ እኔ ነኝ።

ሐኒኤል፦ ከወንድሜ የታረቅሁትስ?

ኑዓ፦ እኔ ነኝ።

ሐኒኤል፦ ጢሜስ?

ኑዓ፦ ጢምህን አላውቅም። እሱ ንፋስ ነው።

ሐኒኤል ሊቆጣ አሰበ። ግን ጣሪያው አያፈስም፣ ወንድሙም ትናንት ጠቦት ልኮለታል። ምን ብሎ ይቆጣ? ተነሳና ወደ ደጅ ወጣ። ልጄን አልሰጥም አለ።

ባለ ግመሉ በገነ። በቀጥታ ወደ ካህኑ ሄደና ከሰሰ። ይህ ሰው መልስ አልነበረውም፣ ጓዳ ገብቶ መልስ ይዞ ወጣ፣ ስውር ነገር ጠይቋል አለ። ካህኑ መጣ፣ መንደሩም ተከትሎት መጣ። ቲርጻ የእናቷን ቀሚስ ያዘች። ነገሩ ከከፋ ሁሉም ከመንደር መውጣታቸው ነው።

ካህኑ፦ ሐኒኤል፣ ጓዳ ገብተህ ማንን ጠየቅህ?

ሐኒኤል፦ ሚስቴን።

ካህኑ ጢሙን አሻሸ። የተከለከለውን ሁሉ ጣቱን እያጠፈ ቆጠረ። ጠንቋይ፣ ሞራ ገላጭ፣ ሙታን ጠሪ እያለ ሄደ። ጣቱ አለቀና እንደገና ከአውራ ጣቱ ጀመረ።

ካህኑ፦ ሚስት የለችበትም።

ባለ ግመሉ፦ ትጨመርበታ።

ካህኑ፦ እሷን ከጨመርንማ ወዳጄ፣ በእስራኤል መንደር የሚቀር ባል የለም። መጀመሪያ የምወጣው እኔ ነኝ።

ሰዉ እየሳቀ ወደየቤቱ ገባ። ባለ ግመሉም ግመሎቹን ነድቶ ዮርዳኖስን ተሻገረ። ቲርጻ በኋላ ከወንዙ ወዲህ፣ አጎራባች መንደር አገባች። ስታምጥ የእናቷን ክንድ ይዛ ነበር። ይባስ ብላ ነክሳታለች።

ሐኒኤልስ አትሉም? በማግስቱ ጠዋት ተነሳና ደጃፉ ላይ ቆመ። ኑዓ ትጠርጋለች። ገብሱን ልጨደው ወይስ ይቆይ አላት። ኑዓም ቀና አለች።

ኑዓ፦ እኔ እንጃ። ወርደህ እየው፣ ዓይን አለህ።

ሐኒኤል ቆመ። ብዙ ቆመ። ፀሐይ ከፍ አለች፣ ዶሮዎቹ በእግሮቹ መሃል አለፉ። ከዚያም ማጭዱን ትከሻው ላይ ጣለና ማንንም ሳይጠይቅ ወረደ። ገብሱ ደርሶ ነበር።

ተረቱን ከሆዴ አወጣሁ፣ እናንተም ከሌማቱ አውጡ፤
አፏ ለደረቀ አሮጊት የዳቦውን መሃል አምጡ።