እመቤታችን ለአንዳርጌና ለይኸነው በጽዋዋ የመሰከረችበት ተአምር

ቢያድግልኝ የተባለ ሰው የሟች ወንድሙን ልጆች አንዳርጌንና ይኸነውን፥ አባትም እናትም የሌላቸውን፥ በሕዝብ ፊት ሌቦች ብሎ በደላቸው። ይህን አስቀድመን መናገራችን ኋላ በዳዩ ማን ነው እያላችሁ እንዳትደናገሩ ነው፤ በዚያ ቀን የወይራ አምባ ሰው ሁሉ ተደናግሮ ነበርና።

አንዳርጌ የወላዲተ አምላክ ወዳጅ ነበረ። ዕድሜው ከዐሥራ ሰባት ያልዘለለ ጎረምሳ ሲሆን በየማለዳው ፊቱን ታጥቦ የዕለቱን ውዳሴ ማርያም ሳያደርስ ሞፈር አይነካም፥ ከሚቆርሰውም እንጀራ የመጀመሪያውን ቁራሽ «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ ለሚቆም ሰው ሳያኖር አይቀምስም ነበር። ይህንም ያስተማረችው እናቱ ውድነሽ ናት፤ እርሷም አባታቸው በንዳድ ከሞተ በኋላ ታመመችና በምትሞትበት ቀን ሁለቱን ልጆቿን ጠርታ «ከማርያም ማኅበር ተራዬን አታስዘልሉ፥ እናንተም አትለያዩ» አለቻቸውና ዐረፈች።

እንግዲህ ጸሎተኛ ነበረ ስንል ልቡ ገር ነበረ ማለታችን አይደለም። እናቱ ከሞተች ወዲህ ሰው ሁሉ ያሠጋው ነበር። ጎረቤት ሽሮ ብታመጣለት አመስግኖ ይቀበላትና ፊቷን ስታዞር መጀመሪያ ለውሻው ያቀምስ ነበር። አንድ ሰው «ልጄ እንዴት ናችሁ» ቢለው፥ ይህ ደግሞ ከቤታችን ምን ፈለገ ብሎ ሌቱን ሙሉ ሲያወጣና ሲያወርድ ያድር ነበር። አይፈረድበትም፤ አጎቱ ቢያድግልኝ ከተዝካሩ ማግስት ጀምሮ በአጥራቸው ዙሪያ ሲዞር ያየው ነበርና።

ከዚያም ቢያድግልኝ ወደ ሽማግሎቹ ሄደና «ሴት የሌለበት ቤት ቤት አይደለም፤ መሬቱን እኔ ልያዘው፥ ታላቁ በኔ በሬ ይረስ፥ ታናሹን ለቆላ ነጋዴ በቅሎ ነጂ አድርጌ እሰጠዋለሁ» አላቸው። ሽማግሎቹም ተማከሩና «የእናታቸው ተራ በአስተርእዮ ማርያም ይደርሳል። ማኅበሩን በወጉ ተቀብለው ካስተናገዱ ቤቱ ቆሟል፥ ልጆቹም አይለያዩም። ካልቻሉ እንዳልከው ይሁን» ብለው ቆረጡ።

አንዳርጌም ብቅሉን አበቀለ፥ ጌሾውን ወቀጠ፥ ጋኑንም አጠነ። ጓደኞቹ «ጢሙ ሳይበቅል ብቅሉ በቀለለት!» እያሉ ሲሥቁበት እየሰማ ሥራውን ቀጠለ። የማኅበሩ ሙሴ፥ ማለት የማኅበርተኛው አለቃ፥ እማሆይ አጸደ ግን ሳይጠሩ መጡ። እኒህ አሮጊት በሰው ጠላ ላይ የሚፈርድ አፍንጫ የነበራቸው ናቸው፤ ገብተውም ጋኑን ከፍተው አሸተቱ።

«ይኼን ማን ጠመቀው?»

«እኔ ነኝ እማሆይ።»

«አንተ? ጌሾ መቼ እንደሚገባ ማን ነገረህ?»

«እናቴ ስትጠምቅ እንጨት አቀብላት ነበር።»

«እናያለና» አሉና በጣታቸው ቀምሰው ፊታቸው ክፉም ደግም ሳያሳይ ወጡ። አንዳርጌም እኒህስ ከአጎቴ ጋር ቢመክሩ ነው እንጂ ምን አመጣቸው ብሎ ጠረጠረ።

ከሁሉ የከፋው ግን ይህ ነው። ታናሹ ይኸነው፥ የዐሥራ አራት ዓመት ልጅ፥ ከሰዓት በኋላ እየጠፋ በመሸ ጊዜ ይመለስ ጀመረ።

«የት ነበርህ?»

«የትም።»

«የትም ማለት የት ነው?»

«ኧረ ተወኝ! ሜዳ ልወጣም ላስፈቅድህ?»

እጁም አፉም ማር ማር ይሸት ነበር። በዚያው ሰሞን ቢያድግልኝ ከቀፎው ቆርጦ ያስቀመጠው አንድ ቅል ማር ተሰረቀብኝ ብሎ መንደሩን በጩኸት ሞልቶት ነበርና፥ አንዳርጌ ይህን ሰምቶ ወንድሙን ሊጠይቀው አፉን ከፈተ፥ መልሱንም ፈራና መልሶ ዘጋው።

አስተርእዮ ማርያምም ደረሰች። በወይራ አምባ ልማድ ባለተራው ከቅዳሴ በኋላ በደጀ ሰላሙ ጠላ የተሞላውን ጽዋ ይቀበላል፤ ተቀብሎም ቤቱ እስኪደርስና ከቤት ያለ ሰው ጽዋዋን «እንኳን ደህና መጣሽ እመቤቴ» ብሎ እስኪቀበላት ድረስ አይናገርም፥ ሰላምታ አይመልስም፥ ከምድርም አያሳርፋትም። ጽዋዋ በተከደነችበት መንገድ ሁሉ አፍም ይከደናል። ይህን ልማድ ቢያድግልኝ ከእናቱ ጡት ጋር ያወቀው ነው፤ ስለዚህም ያን ሰዓት መረጠ።

አንዳርጌ ጽዋዋን በነጭ ነጠላ ሸፍኖ በሁለት እጁ ይዞ ሲመጣ ቢያድግልኝ ከመንገድ ወጣና «ማሬን የሰረቃችሁት እናንተ ናችሁ! ካልሆነ አይደለሁም በል!» ብሎ ጮኸበት። አንዳርጌም ዝም ብሎ ሄደ።

«አያችሁት? ዲዳ ሆነ የወንድሜ ልጅ!»

ከማኅበርተኞቹም አንዲቱ «ንጹሕ ሰው እንዲህ ዝም አይልም» አለች።

«ጽዋ ይዞ እንዴት ይናገር፥ አንቺ?» አለቻት ሌላዪቱ።

«ታዲያ ራሱን አይነቀንቅም!»

እውነቷን ነው፤ ራሱን መነቅነቅ ልማዱ አይከለክልም ነበር። አንዳርጌ ያልነቀነቀው እርግጠኛ ስላልነበረ ነው። የይኸነው እጅ ሽታ በአፍንጫው ውስጥ ነበርና፥ በእመቤቴ ጽዋ ፊት የማላውቀውን አይደለም ብል ምን እሆናለሁ ብሎ ፈራ። በልቡም «እመቤቴ ሆይ፥ አንቺም ያለ በደልሽ ተጠርጥረሽ ካህናቱ የፈተናውን ውኃ፥ ማየ ዘለፋን፥ ሲያጠጡሽ ጠጥተሽ ንጽሕናሽ የተገለጠ ነሽ። የተጠርጣሪን ነገር የምታውቂው አንቺ ነሽ። እኔን ተይኝ፥ የገዛ ወንድሜን የጠረጠርኩ ነኝ፤ እርሱን ግን አደራ» ብሎ ለመነ።

ቢያድግልኝም ቀደመና በቤታቸው ደጃፍ ላይ እግሩን አንፈራጦ ቆመ። «ሳትናገር አትገባም» አለው። ፀሐዩ ከረረ፥ ሕዝቡም ከበበ፥ የአንዳርጌም ክንድ ዛለ። ጽዋዋ ብትወድቅ ቤቱም እንደሚወድቅ ያውቅ ነበር። በዚያን ጊዜ ከእጆቹ በታች ሌሎች እጆች እንደ ገቡ ያህል ጽዋዋ ቀለለችለት፤ ማን ያዘልኝ ብሎ ዝቅ ብሎ ቢያይ ከራሱ እጅ በቀር ማንንም አላየም።

ከዚያም ጽዋዋን ሊቀበል ቀድሞ ቤት የገባው ይኸነው በአጎቱ ብብት ሥር ሾልኮ ወጣና ወድቆ ሰግዶ «እንኳን ደህና መጣሽ እመቤቴ» አለ፥ የአንዳርጌም አፍ ተፈታ። ቢያድግልኝ ግን «ቤቱ ይፈተሽ!» አለና ሰዎቹ ገብተው ሲፈትሹ ቅሉ ከጎታው ሥር ከነማሩ ተገኘ። ሕዝቡም እጁን በአፉ ጫነ። ቢያድግልኝ የይኸነውን እጅ ጎትቶ «አሽትቱት! አሽትቱት እስቲ!» አለ፥ ያሸተቱትም ሁሉ ማር ነው አሉ። ልጁም እጁን ለማስለቀቅ ይታገል ጀመር።

አንዳርጌ ወንድሙን አየው። ቅሉንም አየው። ሰው ሁሉ ውሻው ሳይቀምስ የማይጎርሰው ያ ልጅ ምን ይላል ብሎ ጠበቀ።

«ወንድሜ አልሰረቀም» አለ።

«በምን አወቅህ?»

«አላወቅሁም። አምኜዋለሁ እንጂ።»

ይኸነውም ይህን በሰማ ጊዜ አለቀሰና ወደ ውስጥ ሮጦ ከቆጡ ላይ ጧፍ ይዞ ወጣ። «ከቄሰ ገበዙ ቤት ሰም ሳነጥር ነበር የምውለው፤ ለእናቴ ማኅበር ጧፍ የለንም ብዬ ነው። የሰፈፉን ማር ልሼአለሁ። ልነግርህ ያልፈለግሁት ስታበራው እንድትደነግጥ ብዬ ነው» አለ። ቢያድግልኝ ግን «ጧፉም የሌብነት ነው!» አለ።

ያን ጊዜ እማሆይ አጸደ ከሕዝቡ መካከል ወጡና «በጽዋዋ ፊት የተከሰሰም የከሰሰም ይጠጣል፤ ወጋችን ነው» አሉ። ነጠላውንም ገለጡ። አንዳርጌ ጠጣ፥ ጠላውም ወረደለት። ይኸነው ጠጣ፥ ወረደለት። ቢያድግልኝ ጽዋዋን ተቀብሎ አዘነበለ፥ አንዲት ጠብታ ግን ወደ ከንፈሩ አልመጣችም። «ባዶ ነው እኮ!» አለ። እማሆይም ተቀብለው ዘንበል ቢያደርጓት ጠላው ከነአረፋው በእጃቸው ላይ ፈሰሰ። መልሰው ሰጡት፤ ገልብጦ አፉ ላይ ደፋት፥ ደረቅ ሆነችበት። በዚያን ጊዜ ከደጃፉ ላይ ወደቀ። «ቅሉን ልጆቹ ለቅዳሴ ሲወጡ ያስቀመጥሁት እኔ ነኝ፤ መሬቱን ብዬ ነው» ብሎም ተናዘዘ።

ሕዝቡም እልል አለ። ሽማግሎቹም ቤቱ ቆሟል ብለው ፈረዱ፥ ልጆቹም አልተለያዩም። ጧፉ በራ፥ ጠላውም ለማኅበርተኛው ሁሉ በቃ፤ ከዚያ ቀን ወዲህም የአንዳርጌ ውሻ የጎረቤት ሽሮ ቀርቶበት ከሳ። ሁለቱ ወንድማማቾችም ስለ እነርሱ የመሰከረችላቸውን እመቤት በየወሩ በሃያ አንድ ቀን እያመሰገኑ ኖሩ።

ይህን የምትሰሙ ሁሉ፥ አፋችሁ በተከደነበት ቀን እርሷ ትናገርላችሁ፤ ክንዳችሁ በዛለበት ደጃፍ እጇን ከእጃችሁ በታች ታግባላችሁ፤ ወላጅ የሌላቸውን በምልጃዋ ታሳድግ፥ እኛንም በሐሰት ከመክሰስ ትሰውረን፤ አሜን። ምርቃቱን ያስቀደምነው የእማሆይ ቃል ከኋላው ሌላ ቃል ስለማይፈልግ ነው።

ቢያድግልኝ በደጃፉ ላይ እንደ ተዘረረ ቀና ብሎ «እርስዎስ እማሆይ? ጋናቸውን ሲያሸቱ፥ መንገድ ሙሉ አንዳርጌን በዓይንዎ ሲከተሉት አይቻለሁ። እርስዎም ጠርጥረዋቸዋል! ታዲያ ለኔ ብቻ ለምን ደረቀ?» አላቸው። እማሆይ አጸደም የፈሰሰባቸውን ጠላ በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉና እንዲህ ብለው መለሱለት፦

«አዎን፥ ጠርጥሬአቸዋለሁ። እኔ የጠረጠርኋቸው ሳላውቅ ነው፤ አንተ ግን ንጹሕ መሆናቸውን ከሁላችንም ይልቅ ታውቅ ነበር። በል አሁን ከደጃፉ ተነሥ፤ የቤቱ ጌቶች እንግዳ አለባቸው።»