ያልደረቀችው ታንኳ

ተረት ተረት!

የላም በረት!

ምነው ድምፃችሁ እንደ ራሰ ደንገል ተልፈሰፈሰ? ጮክ በሉ እንጂ! ተረት ተረት!

የላም በረት!

እንዲያ ነው። በድሮ ዘመን ጣና ሐይቅ ዳር ጓንጉል የሚባል ቀዛፊ ነበረ። ክንዱ ብርቱ ነው። ልቡ ደግ ነው። ቁጣው ግን ገለባ ላይ የወደቀ እሳት ነው። አንዲት ታንኳ ነበረችው። ታንኳ መቼም ታውቃላችሁ። ሐይቁ ዳር የሚበቅለውን ደንገል አጭደው፣ አድርቀው፣ ጠፍረው የሚሠሯት ናት። ደንገል ደግሞ ውሃ ይጠጣል። ስለዚህ ታንኳ ከሐይቅ ስትወጣ ዛፍ ተደግፋ ትቆማለች፤ ፀሐይ ይመታታል፤ ውሃዋ ይንጠፈጠፋል። ይህን የማያውቅ የሐይቅ ዳር ሰው የለም። የለም!

ጭቃ ሹም ይመኑም ያውቃል። የአገሩ ሹም ሆኖ እንዴት አያውቅም! ግን አንድ ቀን የጓንጉልን ታንኳ በግድ ወሰደና ቀኑን ሙሉ ማገዶ ሲያመላልስባት ዋለ። ከዚያም ጭቃ ላይ አጋድሟት ሄደ። «አቁሟት» ብሎ አንድ ሰው ማዘዝ አቃተው! አፉ ለማዘዝ መቼ ሰንፎ ያውቃል?

በማግስቱ ጠዋት ከማዶ ጭስ ታየ። የጓንጉል እህት አስናቁ ማዶ ነው የተዳረችው፤ ነፍሰ ጡር ናት። «ምጥ ከጠናባት እርጥብ ቅጠል እናጨሳለን» ተባብለው ነበር። ጓንጉል ጭሱን አየና ወደ አዋላጇ ወደ እማማ ወርቂት ሮጠ።

፦ እማማ! እማማ! አስናቁ! ጭሱ ወጣ!

፦ ሰማሁ፤ ነጠላዬን እስክይዝ ጩኸትህን ያዝልኝ።

ወረዱ። ሌሎቹ ታንኳዎች ሌሊት ለገበያ ወጥተዋል። የቀረችው ያቺ የራሰችው ብቻ ናት። ጓንጉል ጎኗን በጉልበቱ ቢጫናት ውሃው ተንዠቀዠቀ።

፦ ሁለት ሰው እንደምንም ትችላለች። ሦስተኛ አትችልም፤ አለ።

ያን ጊዜ ሦስተኛው መጣ! ጭቃ ሹም ይመኑ፣ ካባ ደርቦ፣ ጠጅ የሞላ ገንቦ ታቅፎ! ማዶ ሰርግ ተጠርቷል።

፦ አሻግረኝ።

፦ ጌታዬ፣ ታንኳዋ አልደረቀችም። እህቴ ልትሞትብኝ ነው። እማማን ላድርስና ተመልሼ ልውሰድዎ።

፦ ሹምህ ቆሞ «ተመልሼ» ትለኛለህ? እኔ ካልተሳፈርኩ ማንም አይሳፈር!

ብሎ የታንኳዋን ገመድ ረግጦ ቆመ። አያናድድም? እኔ ስነግራችሁ እንኳ ደሜ ይፈላል! ጓንጉል አናቱን ሊለው መቅዘፊያውን አነሣ። እማማ ወርቂት ክንዱን ያዘችው።

፦ እሱን ብትፈነክተው አስናቁ ትገላገላለች? ጫነውና ቅዘፍ።

ጥርሱን ነክሶ ጫነው።

መሐል ሐይቅ ሲደርሱ ነፋሱ ተነሣ። ማዕበሉ መጣ። ታንኳዋ የጠጣችው ሳያንሳት ሌላ ጠጣችና ውሃው ቁርጭምጭሚታቸው ላይ ደረሰ። ሹሙ ብድግ አለ።

፦ አለቅን! ሰመጥን! አንተ ነህ የገደልከኝ፣ ጓንጉል!

፦ ቁጭ በል፣ አንተ! ብትሞትም ቁጭ ብለህ ሙት! አለችው እማማ ወርቂት።

ጓንጉልን ፍርሃትና ቁጣ ባንዴ ያዙት። እጁ ተንቀጠቀጠ። አስናቁ ሞታ ታየችው፤ ተገንዛ ታየችው። ያንን ሹም ገፍትሮ ሊጥለው ቃጣው። መቅዘፊያውም ከእጁ ሊያመልጥ ሆነ።

ከዚያም የሟች አባቱ ነገር ትዝ አለው። አባቱም ቀዛፊ ነበሩ። «ልጄ፣ ነፋስ ሲመጣ ሐሳብህን እንዳጥር የለሽ ከብት አትልቀቀው። ሦስት ነገር ጠይቀው። ከታችህ ምን አለ? በእጅህ ምን አለ? ከፊትህ ምን አለ? ያየኸውን መልስ፤ ያላየኸውን አትመልስ» ይሉት ነበር።

ጓንጉልም በነፋሱ ላይ ጮኸ።

፦ ከታቼ ምን አለ? ደንገል! በእጄ ምን አለ? መቅዘፊያ! ከፊቴ ምን አለ? የማዶው ሾላ ዛፍ!

ነፋሱ ቆመ ልትሉኝ ነው? አልቆመም! ጭራሽ ባሰበት! የቆመው የጓንጉል እጅ መንቀጥቀጡ ነው። ሾላው ላይ ዓይኑን ተከለና ቀዘፈ። አስናቁ ተገንዛ ስትመጣበት «አላየሁም! ያላየሁትን አልመልስም!» ይላል፤ ይቀዝፋል። ደግሞ ይጠይቃል።

፦ ከታቼ ምን አለ? የራሰ ደንገል። ይራስ! ቢርስም ድንጋይ አልሆነም። በእጄ ምን አለ? መቅዘፊያ። ከፊቴ ምን አለ? ሾላ… ሾላና… ገንቦ!

ለካ ሹሙ ያን ሁሉ ሲጮህ ገንቦውን አልለቀቀም!

፦ ጠጁን ድፋ! አለው ጓንጉል። ሹሙን «አንተ» አለው!

፦ ጠጄን? የሰርግ ጠጅ?

እማማ ወርቂት ነጠቀችውና ገለበጠችው። የጣና ዓሣ ያን ቀን ሰከረ። ከዚያም ከነጠላዋ ቀደደችና የገንቦውን አፍ ጥርቅም አድርጋ ወተፈችው።

፦ ባዶ ገንቦ ይንሳፈፋል፤ አለ ጓንጉል። እሱን ታቅፈህ ውሃ ውስጥ ግባ። ወገብህን በገመድ አስሬ እጎትትሃለሁ።

፦ እኔ? ሹሙ?

፦ ወይ ገንቦህን ይዘህ ትገባለህ፣ ወይ ሳትይዝ!

ገባ። ካባውን ጣለና ገባ። ታንኳዋም ሸክሟ ቀለላትና ቀና አለች። ጓንጉል ሾላውን እያየ፣ ሦስቱን እየጠየቀ፣ እየመለሰ፣ ቀዘፈ፣ ቀዘፈና ደረሰ።

እማማ ወርቂት ዘላ ወረደችና ወደ ቤት ገባች። ጓንጉል ደጅ ቆመ። ቆመ፣ ቆመ። ከታቼ መሬት፣ በእጄ መቅዘፊያ፣ ከፊቴ የተዘጋ በር፤ እያለ ቆመ። በመጨረሻ እልልታ ተሰማ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። በሦስት ሲያበቃ ሴት ልጅ ናት!

፦ እማማ፣ አስናቁስ? እህቴስ?

፦ አጥሚት እየጠጣች ነው። «ምን አዘገየው ይሄ ቀርፋፋ» እያለች ትሰድብሃለች።

ጓንጉል እንባውን ጠረገና ወደ ሐይቁ ወረደ። ታንኳዋን ጎትቶ አወጣና ሾላው ላይ አስደግፎ አቆማት። ሹሙ ከእነ ገንቦው ዳር ላይ ይንቀጠቀጣል። እየተንቀጠቀጠም ያዛል!

፦ ነገ በማለዳ ትመልሰኛለህ። ከዚያ ሸንጎ ላይ እንተያያለን!

የጓንጉል መዳፍ በላው። ግን አልመታውም። ወደ አንቱታው ተመለሰና እንዲህ አለው።

፦ ጌታዬ፣ ይህች ታንኳ እስክትደርቅ ውሃ አትነካም። ብትደርቅም እርስዎን አትጭንም። እስኪ፣ ከታችዎ ምን አለ?

ሹሙ ወደ እግሩ አየ፤ ጓንጉል ራሱ መለሰለት።

፦ መሬት። በእጅዎ ምን አለ? ባዶ ገንቦ። ከፊትዎ ምን አለ? መንገድ። ሐይቁን ዞሮ የአራት ቀን መንገድ! በሉ ይሂዱ!

ሹሙም የሚጭነው ሌላ ቀዛፊ ቢያጣ፣ በሰርጉ ደጅ ሰርገኛው ሁሉ እያየው፣ ባዶ ገንቦውን ታቅፎ፣ በእግሩ ሄደ።

ተረቴን መልሱ፤ በቁጣ የደረቀ ጉሮሮዬን በዳቦና በጠላ አርሱ! ጠጅ አልላችሁም። ጠጁን ዓሣ ጠጥቶታል።