ሸህ ዘይኑ ያላዩዋት ጨረቃ

ይህን ታሪክ የነገሩኝ ሰዎች ሁሉም አንድ ዓይነት አድርገው አልነገሩኝም፤ እኔም የሰማሁትን አዛብቼ ይዤው ይሆናል። ጨረቃን ለማየት የሚወጣበት ኮረብታ ከከተማዋ በስተምዕራብ ነበር ያሉኝ ይመስለኛል። ጨረቃ የምትጠበቀው በዚያ ወገን ስለሆነ ልክ ሳይሆን አይቀርም። ከስህተት የጠራ አሏህ ብቻ ነው።

በአንዲት አሮጌ የንግድ ከተማ ሸህ ዘይኑ የሚባሉ አዛውንት ነበሩ። ከጎልማሳነታቸው ጀምሮ የሸህ ሙርሰል ሙሪድ፣ ተማሪና ተከታይ፣ ናቸው። ሸህ ሙርሰል ዱዓቸው ድንጋይ የሚያስለቅስ ሰው ነበሩ፤ በእጃቸው ሌባው ከሌብነቱ ተውቦ፣ ሰካራሙ ሰግዶ፣ ከየመንደሩ የመጣው ተከታይ ከኋላቸው ይጎርፋል። ሸህ ዘይኑም የቁርአኑን መክፈቻ ፋቲሃን አስተካክለው መቅራት የተማሩት እሳቸው ዘንድ ነው።

በዚያ ዓመት ረመዳን ሲገባ ሸህ ሙርሰል መስጊዱ ደጅ ላይ ቆመው፣ «ዘንድሮ ጾማችን ሃያ ዘጠኝ ነው። በህልሜ ታይቶኛል» አሉ። ሕዝቡ በተክቢራ አካባቢውን አናወጠው። ከሁሉ በላይ የጮኹት ሸህ ዘይኑ ነበሩ።

ሃያ ዘጠነኛው ቀን ሲያዘቀዝቅ ከተማዋ በደስታ ልትፈነዳ ደረሰች። ድቤው ከዐሱር ሶላት ጀምሮ ይደለቃል፤ ሴቶቹ እልልታቸውን ጉሮሯቸው ላይ ይዘው ኮረብታው ሥር ይጠብቃሉ። ደንቡ እንዲህ ነው፦ ሁለት የታመኑ ሰዎች ጫፉ ላይ ይወጣሉ፣ ቃዲው ከታች ተቀምጠው ምስክርነታቸውን ይሰማሉ። ሁለቱም አየን ካሉ ነገ ዒድ ነው፤ አለዚያ ጾሙ ሠላሳ ይሞላል። ለዚያ ቀን የተመረጡት ሸህ ሙርሰልና ሸህ ዘይኑ ናቸው።

«ሸህ ዘይኑ፣ እባክዎ ቶሎ ይዩልን!» አለ ሙሄ ሥጋ ሻጩ። «በሬው በክፉ ዓይን እያየኝ ነው!»

«አንተን ያላየ በሬ የታደለ ነው» አሉና እየሳቁ ወጡ። ልባቸው እንደ ድቤው ይመታል።

ጫፉ ላይ ግን ምዕራቡ በደመና ተዘግቶ ጠበቃቸው። ፀሐይ ገባች። ሸህ ዘይኑ ዓይናቸው እንባ እስኪያቀርር አፈጠጡ።

«አየሃት?» አሉ ሸህ ሙርሰል።

«አላየሁም ሸሆቼ። ደመና ነው።»

«እኔ አይቻታለሁ።»

ሸህ ዘይኑ በደስታ ዘለሉ። «የት ላይ? በየት በኩል?» ብለው ዞር ሲሉ ግን የሸህ ሙርሰል ዓይን ሰማይ ላይ አልነበረም። ቁልቁል ሕዝቡን ይመለከታል። ሸሃቸው እንዳላዩ ገባቸው።

«ስማ ዘይኑ» አሉ ሸህ ሙርሰል ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ቃሌ ዛሬ ከወደቀ ሌባው ወደ ሌብነቱ፣ ሰካራሙም ወደ ስካሩ ይመለሳል። አየሁ በል። አንዲት ቃል ናት።»

ሸህ ዘይኑም ቁልቁል ሕዝቡን አዩ። ነገሩ እውነት ሊመስላቸውም ሞከረ፦ ስንቱ ሰው በዚህ ሰው እጅ ተቃንቷል! እምቢ ቢሉ የሚያጡት ሸሃቸውን፣ ወንድሞቻቸውን፣ ያረጁበትን ቤት ነው። እሺ ቢሉ ደግሞ አገር ሙሉ በእሳቸው ቃል ከረመዳን አንድ ቀን ይበላል።

ወረዱ። ድቤው ቆመ። ቃዲው አስቀድመው ሸህ ሙርሰልን ጠየቁ። «አይቻለሁ» አሉ። እልልታው ሊፈነዳ ሲል ቃዲው እጃቸውን አነሱ።

«ሸህ ዘይኑ፣ እርስዎስ?»

«ወሏሂ፣ አላየሁም።»

ሕዝቡ ተናወጠ። «ከሃዲ!» አለ አንዱ። «ዓይንዎ አርጅቶ ነው!» አለ ሌላው።

«አርጅቶ ይሆናል ልጄ። ቢሆንም ያላየውን አልጨምርለትም።»

«ከዛሬ ወዲያ ሙሪዴ አይደለህም!» አሉ ሸህ ሙርሰል።

ቃዲው ተነሡ። «ምስክሩ አንድ ነው። ጾማችን ሠላሳ ይሞላል።»

«በሬው ዕድሜ አገኘ!» ሲል ሙሄ ጮኸ፤ በዚያ ጭንቅ መሀል ሰው ሳቀ። የሸህ ዘይኑ ወዳጅ ግን ቀርቦ፣ «እንዲህ አድርገው ሸሁን አሳፈሯቸው! ፍቅሩ አለቀ ማለት ነው?» አላቸው።

ሸህ ዘይኑ እንባቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። «የምመሰክረው በዓይኔ ነው፤ የምወዳቸው በልቤ ነው። አንዱን ለሌላው አላስምልም።»

በዚህ ቃል ላይ ደጋግሜ አስቤያለሁ። እኛ መሪያችን ሲሳሳት ወይ ዓይናችንን እንጨፍናለን፣ ወይ ልባችንን እንዘጋለን። ሁለቱንም ከፍቶ መቆየት እንዴት ይከብዳል! ሸህ ሙርሰል ይመልሷቸው የነበሩ ሰዎች የሚሰግዱት ለሸህ ሙርሰል ከነበረ ያን ዕለት ወድቀዋል፤ ለአሏህ ከነበረ ግን በአንድ ሰው ውሸት የሚፈርስ ምንም ነገር የለም። ይህ የእኔ መረዳት ነው፤ ልሳሳት እችላለሁ።

አንዱን ነገር ግን በሸህ ሙርሰል ቀብር ላይ የነበሩ ሽማግሌዎችን ለየብቻ ጠይቄ አረጋግጫለሁ። ጀናዛ የሚያጥብ ሰው ያየውን ነውር የሚሸፍን ታማኝ እንዲሆን ይፈለጋል። ሸህ ሙርሰል ከብዙ ዓመት በኋላ ሲሞቱ ገላቸውን ያጠቡት ሸህ ዘይኑ ናቸው፤ «እሱ ይጠበኝ» ብለው የተናዘዙትም ራሳቸው ሸህ ሙርሰል ነበሩ።