ጭስ ያላስነሳው ዳቦ

«ተረት ተረት!»

«የምድጃ ሙቀት!»

አልሰማሁም። አፋችሁ ውስጥ ቆሎ አለ እንዴ? እንደገና። ተረት ተረት!

«የምድጃ ሙቀት!»

አዎ፣ እንዲህ ነው።

በድሮ ዘመን አንጓች የምትባል ሴት ነበረች። ቁመቷ አጭር ነበር፤ ድምጿ ግን ጎረቤት መንደር ድረስ ይሰማል። ባሏ እሸቴ ይባላል። ሆዱን የሚወድ፣ ጠብ የማይወድ ሰው ነው። የእሸቴ እናት ደግሞ እማማ ስንዱ ይባላሉ። ጉልበታቸው አልቋል። ጥርሳቸው አልቋል። ምላሳቸው ግን ገና መጀመሩ ነው።

አንጓች አንዲት ልጅ ነበረቻት። የሻረግ ትባላለች። ሩቅ አገር ተድራ ሄዳለች። አንድ ቀን ከወደዚያ መልእክት መጣ፦

«የሻረግ ወሯ ገብቷል። እናቴ ትድረስልኝ ብላለች። የአራስ ገንፎዬን ከእናቴ እጅ እንጂ ከማንም አልበላም ብላለች።»

አንጓችም ይህን ሰማችና ተነሣች። የገንፎውን ዱቄት ለብቻ ቋጠረች። ቅቤውን በቅል አደረገች። ለመንገድ በሶ አዘጋጀች፣ ጭኮ ለወሰች፣ ትንሽ የስንዴ ዱቄትም በአገልግል ያዘች። እማማ ስንዱ ከደጅ ቁጭ ብለው ያያሉ።

«እኔስ?» አሉ።

«እርስዎማ ቤት ይጠብቁ እንጂ እማማ። መንገዱ ሩቅ ነው።»

«የልጅ ልጄ ስትወልድ እኔ ግድግዳ ልጠብቅ? ግድግዳው የት ይሄዳል? አህያዋ ላይ አውጡኝ!»

አወጧቸው። ሄዱ። ሄዱ፣ ሄዱ። ቀን ይሄዳሉ፣ ሲመሽ እንግዳ ከሚቀበል ቤት ያድራሉ። ታዲያ ጭኮው ይጎድል ጀመር። አንጓች ቋጠሮውን በፈታች ቁጥር ይጎድላል።

«እሸቴ፣ ጭኮውን ነክተሃል?»

«እኔ? እናቴ ትሙት!»

«ምነው ልጄ፣ አንተ በልተህ እኔን ትገድለኛለህ?» አሉ እማማ ስንዱ። ከንፈራቸው በቅቤ ያብረቀርቃል።

እውነቱን ልንገራችሁ? ሁለቱም ይበሉ ነበር። እሱ በግራ በኩል፣ እሳቸው በቀኝ በኩል። አንዱ የሌላውን አያውቅም። አንድ ማለዳ ጣቶቻቸው ቋጠሮው ውስጥ ተገናኙ። እሸቴ አይጥ መስሎት ጮኸ። እማማ ስንዱም ጮኹ። ከዚያ በኋላማ መደበቅ የለም፣ ጭኮውን ፊት ለፊት ጨረሱት። በሶውም ተከተለ።

አንድ ትልቅ ወንዝ ሲደርሱ ለመንገድ የቀረው ጥሬ የስንዴ ዱቄት ብቻ ነበር። ከወንዙ ማዶ ሜዳ ነው። ሜዳው ሰፊ ነው፣ ዓይን አይጨርሰውም። መሻገሪያው ላይ አንድ ዘበኛ ጦሩን ተደግፎ ቆሟል።

«ልትሻገሩ ነው?» አላቸው። «እንግዲያ አዋጁን ስሙ። ማዶ ያለው መሬት የጌታ ወንድይራድ ነው። በዚህ ሜዳ ላይ ጭስ ያስነሳ ሁሉ የጌታውን መሬት ያርሳል። የአገሩ ሰው ከሆነ በየዓመቱ። መንገደኛ ከሆነ እህሉ ጎተራ እስኪገባ።»

«ሰው አያበስልም እንዴ?» አለች አንጓች።

«ያበስላል። ከዚያ ያርሳል። ያ ሞፈር የያዘ ሰውዬ ይታይሻል? ሠርግ ሲሄድ ራበውና ቆሎ ቆላ። ሙሽሮቹ ዛሬ የልጅ እናትና አባት ናቸው።»

«እህሉ ሲገባ ለምን አልሄደም ታዲያ?»

«ሲያርስ ይርበዋል። ሲርበው ያበስላል። ሲያበስል ይጨሳል» አለ ዘበኛው። «ጌታው ማማው ላይ ቁጭ ብሎ ጭስ ሲቆጥር ነው የሚውለው።»

«ሜዳውን እስክናልፍ ምን ያህል ነው?»

«ዛሬ ገብታችሁ ነገ ማታ ትወጣላችሁ፣ አህያዋ ከፈጠነች።» አህያዋን አያት። እማማ ስንዱን አያቸው። «አትፈጥንም» አለ።

እሸቴ ራሱን አከከ። ከዚያም አለ፦

«እዚሁ ወዲህ ማዶ ጋግረን፣ በልተን ብንሻገርስ?»

ዘበኛው ወደ ላይ አገር ጠቆመ። ተራራው ጠቁሯል። ዝናብ ወርዷል።

«ዳቦው እስኪበስል ወንዙ ይሞላል። አንዴ ከሞላ ሰሞኑን አይጎድልም።»

«እንግዲያ እንመለስ። ወይ ዱቄቱን በውኃ በጥብጠን እንጠጣ።»

«ጠጣው!» አሉ እማማ ስንዱ። «ጭኮውን የበላ ሆድ ጥሬ ዱቄት አያቅተውም። እኔ ግን ዛሬ ትኩስ ካልበላሁ ነገ ከአህያዋ ላይ የምታወርዱት ሬሳዬን ነው።»

አንጓች ነገሩን መዘነች። ቢመለሱ የሻረግ ያለ እናት ትወልዳለች። ሜዳው ላይ እሳት ቢያነዱ እሸቴ እርፍ ይዞ ይቀራል፣ እሷም ከእሱ ጋር ትቀራለች። ሳይበሉ ቢሄዱ አሮጊቷ አይደርሱም። ማዶውን አየች። ከሩቅ ማማው ይታያል። እሷም ወገቧን ታጠቀች፦

«እናቴ ቤት አብስያለሁ፣ አማቴ ቤት አብስያለሁ፣ ዝናብ ላይ አብስያለሁ፣ ምጥ ይዞኝ አብስያለሁ። ለማብሰል የማንንም ፈቃድ ጠይቄ አላውቅም። ዛሬም አልጠይቅም!» አለች። ወደ ዘበኛውም ዞራ፦ «ይህ የቆምንበት ዳርቻ የማን ነው?»

«የማንም አይደለም።»

«እሰይ። እሸቴ፣ እንጨት!»

«አንቺ ሴት፣ ሰውዬው ዳቦው አይደርስም እያለሽ እኮ ነው!»

«ዳቦው አይድረስ። ድንጋዩ ይድረስ።»

እማማ ስንዱ ይህን ሲሰሙ አጨበጨቡ። ባላቸው በሕይወት ሳሉ ጨው ሊጭኑ ወደ በረሃ ይወርዱ ነበር። ጨው ጫኞች ምጣድ አይሸከሙም። ድንጋይ ያግሉና ሊጥ ያለብሱታል፣ ዳቦው ከሆዱ ይበስላል።

እሸቴም ሮጦ ከወንዙ ውስጥ የሚያምር፣ ድቡልቡል ያለ ድንጋይ አመጣ። እሳቱ ውስጥ ከተተው።

«ከወንዝ ነው ያወጣኸው?» አሉ እማማ ስንዱ።

«አዎ፣ እንዴት ያምራል አይደል?»

«ራቁ!»

ዷ! ድንጋዩ ፈነዳ። ፍሙ ተበተነ። እሸቴ በጀርባው ወደቀ። አህያዋ ደንብራ ወንዝ ውስጥ ገባችና ብቻዋን ተሻገረች። ደግነቱ እማማ ስንዱ ላይዋ ላይ አልነበሩም።

«ውኃ የጠጣ ድንጋይ እሳት አይችልም!» አሉ እየሳቁ። «ከዳገቱ ላይ ጥቁሩን፣ ደረቁን አምጣ። ቁንጅናውን ተወው፣ ልታገባው አይደለም!»

አመጣ። ጥቁሩ ድንጋይ ጋለ፣ አልፈነዳም። አንጓችም ሊጡን አቦካች። የጋለውን ድንጋይ በሁለት እንጨት እያነሣች ሊጥ አለበሰችው። አገልግሉን በእርጥብ ሣር ጎዘጎዘችና ዳቦዎቹን ደረደረች፣ በመሐላቸውም ሌላ የጋለ ድንጋይ ጨመረች። ከደነችው። በጋቢ ጠቀለለችው። እሳቱን አጠፋች። ዘበኛው አፉን ከፍቶ ቀረ።

ወንዙ ሲያጉረመርም፣ እሸቴ እናቱን አዝሎ፣ ተሻገሩ። አህያዋን ያዟት። እማማ ስንዱን አወጧቸው፣ አገልግሉንም እቅፋቸው ውስጥ አስቀመጡላቸው። ሄዱ።

«እማማ፣ ምን ይላል?» ትላለች አንጓች።

እማማ ስንዱ ጆሯቸውን ወደ ክዳኑ ያስጠጋሉ፦ «ያንሾካሹካል። አሁን ሐሜት ላይ ነው።»

ጥቂት ሄደው ደግሞ፦ «አሁንስ?»

«ዝም ብሏል። በስሏል መሰለኝ። ሆዴ ሞቀኝ፣ የዛሬ ስንት ዘመን እንዲህ ሞቆኝ አያውቅም!»

ከዚያም ሽታው ወጣ። የትኩስ ዳቦ ሽታ ሜዳው ላይ ነጎደ። አራሾቹ ቀና አሉ። በሬዎቹ ቆሙ። ሠርግ የቀረው ሰውዬ እርፉን ለቀቀ። «ዳቦ ነው» አለ። «እግዜርን፣ ዳቦ ነው!» ሁሉም ጭሱን ፈለጉ። ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። ጭስ የለም።

ጌታ ወንድይራድም ከማማው ላይ ሸተተው። በወዲህ አየ፣ በወዲያ አየ። ጭስ የለም። ወረደ። በቅሎው ላይ ወጣ። ሎሌዎቹን አስከትሎ፣ እየጋለበ መጥቶ ፊታቸው ቆመ።

«ማነው የጋገረው?»

«እኔ ነኝ» አለች አንጓች። እሸቴ ከአህያዋ ጀርባ ገባ።

«ክፈቺው!»

ከፈተችው። ነጭ እንፋሎት ቡልቅ ብሎ ወጣ።

«ጭስ!» አለ ወንድይራድ። «አያችሁ? ጭስ! ያዙልኝ! ሞፈር አምጡለት ለባልየው!»

ሎሌዎቹ እሸቴን ያዙት። አንጓችን የሻረግ ትዝ አለቻት። ወደ ጌታው ቀረብ አለችና፦

«ጌታዬ፣ ኩታዎ ነጭ ነው። ያውሱኝ።»

«ለምን?»

«ጭስ ከሆነ ያጠቁረዋል። ካጠቆረው ሦስታችንም እናርሳለን። እኚህ አሮጊትም ያርሳሉ።»

«አርሳለሁ!» አሉ እማማ ስንዱ።

አራሾቹ ከበዋቸው ነበር። ለወንድይራድ ሰው እያየው እምቢ ማለት አልሆነለትም። ኩታውን ሰጠ። አንጓች ኩታውን እንፋሎቱ ላይ ዘርግታ ያዘች። ያዘች፣ ያዘች። ከዚያም ከፍ አድርጋ ለሁሉም አሳየች። ኩታው ረጥቧል። ነጭ ነው። ቅንጣት ጥላሸት የለበትም።

«ይኸው ውኃ ነው ጌታዬ። እሳቱ የነደደው ከወንዙ ማዶ ነው፣ ዘበኛዎ ቆሞ እያየ። አዋጅዎ ጭስ ይላል። እንፋሎት አይልም። ዳቦም አይልም። ባሌን ይልቀቁልኝ!»

አራሾቹ አጉረመረሙ። ሎሌዎቹ ተያዩና እሸቴን ለቀቁት። ወንድይራድ ተናደደ። ከአገልግሉ ውስጥ አንዱን ዳቦ መንጭቆ አነሣ፦

«ቢያንስ ይህ የእኔ ነው! በመሬቴ ላይ ያለፈ ዳቦ ነው!»

«ጌታዬ፣ ቀስ —» አለች አንጓች።

አልሰማትም። በሙሉ አፉ ገመጠ። ቋ! አለ። ጥርሱ ድንጋዩ ላይ ተሰበረ።

«እንኳን ደህና መጣህ» አሉ እማማ ስንዱ ባዶ ድዳቸውን እያሳዩ። «እኔ ጋ ቦታ አለልህ።»

ሜዳው ሳቀ። ያ ሁሉ አራሽ ሳቀ፣ ሎሌዎቹ ፊታቸውን አዙረው ሳቁ። ወንድይራድ አፉን ይዞ ወደ ማማው ተመለሰ። አንጓችም ዳቦውን ቆርሳ መጀመሪያ ለእማማ ስንዱ፣ ከዚያም ለአራሾቹ አደለች። ድንጋዮቹን ግን ሠርግ የቀረው ሰውዬ ለቀማቸው። አገላብጦ አያቸው። አሸተታቸው። ከዚያም በብብቱ ከተታቸው።

እነ አንጓች አለፉ፤ በሰዓቱም ደረሱ። የሻረግ ወንድ ልጅ ተገላገለች። ገንፎው ተገነፋ፣ ቅቤው መሐሉ ላይ ቀለጠ። እሸቴ በግራ በኩል፣ እማማ ስንዱ በቀኝ በኩል ሲገቡ አንጓች በማማሰያው መለሰቻቸው።

ሕፃኑ ድክ ድክ ማለት ሲጀምር ወደ አገራቸው ተመለሱ። ሜዳው ላይ ሲደርሱ እንደገና የእርሻ ወቅት ነበር። አንጓች ቆመች። ዓይኗን ጠረገች። ያን ሁሉ ቤት አየች፣ ከአንዱም ጭስ አይወጣም። የአገሩ ሰው ዱቄቱን ይዞ እየተሻገረ፣ የማንም ባልሆነው ዳርቻ ድንጋይ ያግላል፣ ሊጥ አልብሶ ይመለሳል። ነጋሪቱ እንደየዓመቱ ተጎሰመ፣ አዋጁ ተነገረ፦ «ጭስ ያስነሳ ያርሳል!» ሕዝቡም ቀና ብሎ አየ። ከዚያ ሁሉ ሜዳ ጭስ የሚወጣው ከአንድ ቤት ብቻ ነው። የወንድይራድ ማድ ቤት ነው።

ማንም እርሻ አልወጣም። መሬቱ ጦም ሊያድር ሆነ። እና ምን ይሁን? ወንድይራድ እርፍ ጨብጦ ከሁለት በሬ በስተኋላ ይወላከፋል።

«እርፉን ጠበቅ አድርግ!» አሉ እማማ ስንዱ ከአህያዋ ላይ። «ትልምህ እንደ በግ አንጀት ተጠማዘዘ!»

አንጓችም ከሜዳው መሐል ላይ ቁጭ አለች። ሦስት ድንጋይ ጎለተች። እሸቴ እንጨት አመጣ፣ ያውም እርጥቡን። እሳቱ ነደደ። ጭሱ እንደ ምሰሶ ቆመ። ወንድይራድ አየው። አፉን ከፈተ። ጥርሱ ባለመኖሩ ነፋስ ገባበት፣ መልሶ ዘጋው። አንዲት ሴት ከቤቷ ወጥታ የአንጓችን ጭስ አየች፣ ገብታም አነደደች። ቀጥሎ ጎረቤቷ። ቀጥሎ ሠርግ የቀረው ሰውዬ። ያን ሁሉ ጭስ ማን ይቁጠረው? የሚቆጥረው ሰውዬ እርሻ ላይ ነው።

አንጓች ዳቦ ጋገረች። ሽታው ነጎደ። በሬዎቹ ቆሙ። ወንድይራድም ቆመና ከትልሙ ላይ ቀስ ብሎ ጠየቀ፦

«ድንጋይ አለበት?»

«የለበትም ጌታዬ» አለች አንጓች። «ግን መጀመሪያ ትልሙን ይጨርሱ!»

ተረቴን ጨረስኩ፣ ዳቦዬን አምጡ፤
ድንጋዩን ግን ከሆዱ አውጡ!