የወርቅ ማሽኑና ያልታረሰችው ጥግ

ጠጋ ብላችሁ ተቀመጡ። እጃችሁ ባቄላውን መፈልፈሉን አይተው፤ ጆሮአችሁን ግን ለእኔ ስጡኝ። አንድ ጊዜ ነው የምናገረው። በመሐል የሚጠይቀኝ እንዳይኖር።

በሬ ሲናገር ሰው ይሰማ በነበረበት ዘመን፣ ብረትም አፍ በነበረው ዘመን፣ አንዳርጌ የሚባል ገበሬ ነበር። ሚስቱ ማንጠግቦሽ ትባላለች። ልጆች አሏቸው። ሁለት በሬዎችም ነበሯቸው፤ አንዱ ወይኖ፣ አንዱ ቡላ።

አንዳርጌ ማሳውን የወረሰው ከአባቱ ነው። በማሳው ታችኛው ጥግ፣ በወንዙ በኩል፣ አልጋ የምታህል መሬት ሳትታረስ ትኖራለች። ዙሪያዋን ድንጋይ ተደርድሮባታል። በድንጋይና በድንጋይ መሐል እሬት በቅሎባታል። ድንጋዩን የደረደረው፣ እሬቱንም የተከለው አባቱ ነው።

አባትየው ዝምተኛ ሰው ነበር። ለልጁ የነገረው ይህን ብቻ ነው፤ «ከድንጋዩ ወዲያ አትረስ።» አንዳርጌ አንድ ቀን ለምን ብሎ ጠየቀው። አባትየው «አትረስ አልኩህ» አለና ጅራፉን አነሣ። አንዳርጌ ዳግመኛ አልጠየቀም። አባትየውም ሳይናገር ሞተ።

እናንተ ግን አስቀድማችሁ እወቁት። እዚያ ጥግ የተቀበረው ፈንጂ ነው። በጦርነቱ ጊዜ ወታደሮች ሲቀብሩት አባትየው ከቁጥቋጦ ሥር ሆኖ አይቷል። ቢናገር አየህ ብለው ይገድሉታል። ስለዚህ ዝም አለ። ጦርነቱ አለፈ፣ ወታደሮቹም ሄዱ፤ ዝምታው ግን ልማድ ሆኖ ቀረ። ፈንጂውም ከአፈሩ ሥር ሆኖ አንድ ኮቴ፣ አንድ ዶማ ይጠብቅ ነበር። ዓመት አለፈ፣ ጠበቀ። ሌላ ዓመት አለፈ፣ ጠበቀ። አልተኛም።

አንድ በጋ በአገሩ ወሬ መጣ። ከመሬት በታች ያለውን ወርቅ የሚሰማ ማሽን አለ ተባለ። አንዱ የወርቅ ፍንጣሪ አገኘበት፤ ሌላው የጠፋ የጆሮ ጌጥ አገኘበት እየተባለ በየደጁ ተወራ። አንዳርጌ ወሬውን ሰማና ማረሻው ከበደው። በገበያ ቀን ማለዳ ወይኖን ከበረት አወጣው። ቡላ እያየ ወሰደው። ከሰዓት በኋላ ባዶ ገመድ በአንድ እጁ፣ ማሽኑን በትከሻው ይዞ ተመለሰ። ወይኖን የገዛው ከወንዙ ማዶ የሚኖር ምንይችል የሚባል ገበሬ ነው።

ማንጠግቦሽ ገመዱን አየችው። ከዚያ ማሽኑን አየችው።

«በአንድ በሬ ልታርስ ነው?» አለችው።

«ከእንግዲህ አናርስም» አላት።

ማሽኑ ረጅም እጀታ አለው። ከታች እንደ ምጣድ ክዳን ጠፍጣፋ የሆነ ነገር አለው። ብረት ያለበት ቦታ ሲደርስ እንደ ትንኝ ቀጭን አድርጎ ይዘፍናል። ለአንዳርጌ የነገረው ይህን ነው፤ «ጌታው፣ እኔ ብረትን አገኛለሁ። አልዋሽም። ዘፈንኩ ማለት አለ ማለት ነው።»

በመጀመሪያው ቀን ከማሳው ራስጌ ዘፈነ። አንዳርጌ ቆፈረ። የወጣው አፉ የተበላ አሮጌ ማረሻ ነበር፤ የአባቱ ማረሻ። አንዳርጌ ሊወረውረው ሲል ማረሻው ተናገረ።

«ቀስ በል። ይህን ማሳ እያንዳንዱን ትልም አውቀዋለሁ። አባትህ እስከ ድንጋዩ ድረስ ያርስብኝ ነበር። ድንጋዩ ጋ ሲደርስ እጁ እርፉን ጠበቅ ያደርጋል፣ ይመልሰኛል። አንድም ቀን አላለፈም።»

«ለምን?» አለ አንዳርጌ።

«እኔ ማረሻ ነኝ። የሚመልሰኝን እጅ እንጂ ምክንያቱን አላውቅም።»

ማሽኑ ሳቀ። «ሰው መሬቱን ሳያርስ የሚተወው ለምን ይመስልሃል ጌታው? የደበቀው ነገር ቢኖር ነው እንጂ» አለ። አንዳርጌም ማረሻውን ጥሎ ወደ ታችኛው ጥግ አየ።

በሁለተኛው ቀን ከማሳው ወገብ ላይ ዘፈነ። አንዳርጌ ቆፈረ። የብር ቀለበት ወጣ፤ እናቱ አረም ስትነቅል የጠፋባት። ቀለበቱን በሸሚዙ ጠራርጎ ሲያየው ተናገረ።

«በእናትህ ጣት ላይ ነበርኩ» አለ። «አንድ ቀን አባትህ ከዚያ ጥግ መጣ። እናትህ ውኃ ሰጠችው። ጣሳውን ሲቀበል እጁ እጇን ነካ፤ ይንቀጠቀጥ ነበር። ምን ሆነህ ነው አለችው። ምንም አላት። ነብር የገደለ እጅ ነው የተንቀጠቀጠው። ወደዚያ አትሂድ።»

«የተንቀጠቀጠው ለምን ነበር?»

«አልነገራትም። ታዲያ ለእኔ ማን ይነግረኛል?»

ማሽኑ አሁንም ቶሎ መለሰ። «ብዙ ወርቅ ያየ ሰው እጁ ይንቀጠቀጣል» አለ። አንዳርጌ ቀለበቱን ለማንጠግቦሽ ሰጣት። እሷ ግን ቀለበቱ የተናገረውን ሰምታለች። ጣቷ ላይ አድርጋው ወደ ታችኛው ጥግ አየች።

በሦስተኛው ቀን አንዳርጌ ማሽኑንና ዶማውን ይዞ ወደ ታችኛው ጥግ ወረደ። ቡላ አብሮት የሚጠመድ ጓደኛ ስለሌለው ተፈትቶ ተከተለው። ማንጠግቦሽም ተከተለችው። ማሽኑ ድንጋዮቹ ጋ ሳይደርስ መዝፈን ጀመረ። ሲጠጋ ድምፁ ወፈረ። ከዚያ በፊት እንዲያ ዘፍኖ አያውቅም።

ማሽኑ ወደ ታች ጠየቀ። «ምንድነህ?»

ከአፈሩ ሥር ድምፅ መጣ። ለስላሳ ድምፅ ነው። «ብረት ነኝ» አለ።

«ትልቅ ነህ?»

«አንድ ሰው በሁለት እጁ ነው የሚያነሣኝ።»

«ማን ቀበረህ?»

«ጠንቃቃ ሰዎች። ቀስ ብለው አስቀመጡኝ፣ አፈሩን በቅጠል ጠረጉት፣ ዱካቸውን አጥፍተው ሄዱ።»

«ያገኘህ ሰውስ?»

«ያገኘኝ ሰው» አለ ፈንጂው፣ «ከዚያ ወዲያ አይቸገርም።»

ልብ አድርጉ። ከተናገረው አንድም ውሸት የለበትም።

አንዳርጌ ሸሚዙን አውልቆ ድንጋዩን ማንሣት ጀመረ። ያን ጊዜ ቡላ መጥቶ ከፊቱ ቆመ።

«ጌታዬ፣ ተው» አለ። «እዚህ ስንደርስ ወይኖ ሁልጊዜ በኃይል ይተነፍሳል፣ ቀንበሩን ወደ ውጭ ይገፋል። ለምን እንደሆነ ወይኖ ያውቃል። አባትህ ለማንም ሰው ያልነገረውን ሲያርስ ለቀድሞ በሬው ለጥቁሬ ነግሮታል። ጥቁሬ ሲያረጅ አብሮት ለተጠመደው ለወይኖ ነገረው። እኔም ጠየቅሁት። የእርሻው ጊዜ ሲያልቅ እነግርሃለሁ አለኝ። ከዚያ በፊት ሸጥከው።»

አንዳርጌ ሳቀ። «ጓደኛህ ናፍቆህ ነው» አለው። «ወይኖን መልሼ እንድገዛ ነው የምትደክመው።»

«ናፍቆኛል» አለ ቡላ። «እሱን አልክድም። ግን ተው።»

ነገሩ እንዲህ ነው የሚበላሸው። ቡላ የሚናገረው እውነት ነው፤ ናፍቆቱም እውነት ነው። አንዳርጌ ናፍቆቱን ስላየ እውነቱን አላየም። ቡላን በእጁ ገፋው።

ማንጠግቦሽ ግን ማረሻውን ሰምታ፣ ቀለበቱን ሰምታ፣ አሁን ደግሞ ቡላን ሰማች። ሦስቱም መሬቷን ይፈሯታል፤ አንዳቸውም ለምን እንደሆነ አያውቁም። ባሏን እስክመለስ ቆይ አለችው። ቶሎ ካልተመለስሽ ወርቁን ብቻዬን አየዋለሁ አላት። ቀሚሷን ሰብስባ ወደ ወንዙ ሮጠች።

አንዳርጌ ድንጋዩን አነሣ። አንድ ድንጋይ፣ ሁለት ድንጋይ፣ ሦስት ድንጋይ።

ማንጠግቦሽ ወንዙን ተሻገረች። ምንይችል በማሳው ላይ ወይኖን ከሌላ በሬ ጋር ጠምዶ እያረሰ ነው። ስትመጣ አይቶ ጅራፉን አወረደ።

«በሬውን ልትወስጂ ከሆነ የመጣሽው ተመለሽ» አላት። «ተመራርቀን ነው ከባልሽ ጋር የተለያየነው።»

«አንድ ቃል ልጠይቀው ነው፣ አያ ምንይችል። አንድ ቃል ብቻ።»

ምንይችል ሰማዩንና ምድሩን አየና በሬዎቹን አቆመ። ማንጠግቦሽ ወይኖ ፊት ቆመች። እዚያ ጥግ ያለው ምንድነው ብላ ጠየቀችው። ወይኖ ፊቱን አዞረ። ደግማ ጠየቀችው። ወይኖ ሣር የሚያመነዥግ መሰለ፤ አፉ ውስጥ ግን ሣር አልነበረም።

ማዶ አንዳርጌ እሬቱን ነቀለ። አንድ ሥር፣ ሁለት ሥር፣ ሦስት ሥር። እጁን በሱሪው ጠረገ።

«ወይኖ» አለች ማንጠግቦሽ። «የሸጠህን ሰው ይቅር በለው አልልህም። ያ የራስህ ነው። ግን ቡላ ከጥጉ አጠገብ ቆሟል። ሲገፉት አልሄድም ብሏል።»

ወይኖ ማመንዠጉን ተወ።

«ቡላ እዚያ ነው?»

«እዚያ ነው።»

«ፈንጂ ነው» አለ ወይኖ። «ወታደሮች ሲቀብሩት አባትየው አይቷል። የነካውን ሁሉ ይበላል።»

ማንጠግቦሽ ወደ ማዶ ዞረች። ወንዙን መልሳ ለመሻገር ጊዜ የላትም። ከቆመችበት ባሏ ይታያታል፤ ዶማውን አንሥቷል። ብትጮህ ድምፅዋ አይደርስም። ወይኖም አየ። አንገቱን ከነቀንበሩ ቀና አድርጎ «ፈንጂ ነው!» ብሎ ለቡላ ጮኸ። ምንይችል ወደ ኋላ ተንገዳገደ። ጩኸቱ ወንዙን ተሻግሮ ቡላ ጆሮ ደረሰ።

አንዳርጌ ያን ጊዜ አንድ እግሩን ከድንጋዩ ወዲያ አሳርፏል። በዶማው ዳሩን አንዴ መታ። ሁለተኛ መታ። ለሦስተኛው ከራሱ በላይ አነሣው።

«ፈንጂ ነው» አለ ቡላ። «ወታደሮች ሲቀብሩት አባትህ ያየው ፈንጂ ነው። ወይኖ ነው የነገረኝ።»

ዶማው ሰማይ ላይ ቆመ። አንዳርጌ ማሽኑን አየው። ማሽኑ መዝፈኑን አላቋረጠም። አንዳርጌ ወደ መሬት አጎንብሶ፣ «እውነት ነው?» ብሎ ጠየቀ።

ቅድም ለሁሉ ጥያቄ መልስ የነበረው ያ ለስላሳ ድምፅ ዝም አለ።

አንዳርጌ ጠበቀ። ክንዱ መዛል ጀመረ፤ ዶማው ከበደው። ቢለቀው ይወድቃል። ትንሽ በትንሽ አወረደውና ከኋላው ሣሩ ላይ አጋደመው። ከዚያ የረገጠበትን ዱካ አየ። እግሩን አነሣ፣ በመጣበት ዱካ ላይ መልሶ አኖረው። ሁለተኛውን አነሣ፣ አኖረው። ላቡ ዓይኑ ውስጥ ገባ፤ አልጠረገውም። ድንጋዮቹን ካለፈ በኋላ ቡላ አንገት ላይ ተደገፈና እጁን አየው። እንደ አባቱ እጅ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ፈንጂ የሚያወጡ ሰዎች ተጠርተው መጡ። እነሱም ማሽን ይዘዋል። የእነሱም ማሽን ጥጉ ጋ ሲደርስ እንደ አንዳርጌ ማሽን ዘፈነ፤ ያው ድምፅ፣ ያው ዘፈን። ልዩነቱ እነሱ ሲዘፈንላቸው ዶማ አያነሡም፤ ይንበረከካሉ። መንደሩን ሁሉ ከኮረብታው ጀርባ አስቀምጠው ፈንጂውን አፈነዱት። ምድር ተንቀጠቀጠ። ጥጓ የነበረችበት ቦታ ጎጆ የሚያስገባ ጉድጓድ ሆነ።

«ብረት አለ አልኩ፣ ብረት ነበረ» አለ ማሽኑ። «የቱ ላይ ነው የተሳሳትኩት?»

«አልተሳሳትክም» አለው አንዳርጌ። «አንተ ያለውን ታውቃለህ። ለምን እንዳለ አታውቅም።» ከዚያ በኋላ ማሽኑ የመንደሩ ሴቶች ቀለበት ሲጠፋባቸው ይወጣል እንጂ ሌላ ሥራ የለውም።

ወይኖ ወደ ቤቱ አልተመለሰም። የተሸጠ በሬ ነው። ምንይችል ግን በሳምንት ሁለት ቀን ያውሰዋል፤ ለውለታው አንዳርጌ አጨዳ ሲደርስ ያጭድለታል። ወይኖና ቡላ እንደገና በተጠመዱበት ቀን፣ በመጀመሪያው ትልም ላይ፣ ወይኖ የሚያውቀውን ሁሉ ለቡላ ነገረው። የእርሻውን ማለቂያ አልጠበቀም።

አንዳርጌ ደግሞ ልጆቹን ጠርቶ ጉድጓዱ አፍ ላይ አቆማቸው። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገራቸው። አያታቸው ያየውን፣ የፈራውን፣ እሱ ራሱ ሁለተኛ ሳይጠይቅ የቀረውን። ትንሿ ልጁ «አያታችን ለአንተ ሳይነግር ለበሬው ለምን ነገረው?» አለችው።

አንዳርጌ ጉድጓዱን አየ።

«በሬ መልሶ አይጠይቅም» አላት።

ተረቴ ይኸው ነው። ልጅህን አትንካ ካልከው ለምን እንደሆነም ንገረው። ለበሬህ የነገርከውን ለልጅህ አትደብቀው።

ስጀምር አትጠይቁኝ ብያችሁ ነበር። አሁን ጠይቁ።