እሺ ያለው በገና ሠሪ

«አንድ ሰው ነበረ፤ በገና ሠሪ። ትዕቢተኛ ይሉት ነበር» ብለው ጀመሩ እትዬ አልጣሽ።

ይህን ያሉት ለጥሩዓለም ነው። ጥሩዓለም ዘፋኝ ናት፤ ዜማ የተማረችው ከእሳቸው ነው። ያን ቀን ከስቱዲዮ ቀጥታ ወደ ቤታቸው መጥታ፣ ገና ሳትቀመጥ ጥያቄዋን አፈሰሰችው። ድምፅዋ ሻካራ ነው፤ ከፍ ሲል ይሰነጠቃል። ኮምፒውተሩ ላይ የተቀመጠው ባለሙያ ሻካራውን ጠርጎ፣ ስንጥቁን ደፍኖ አሰማት። የነበሩት ሁሉ አጨበጨቡ። እሷ ግን «ይኼ በስሜ አይወጣም» አለች። «ተይ አትታበዪ፤ ስንቱ የሚያደርገው ነው» አሏት፤ ለነገ ጠዋት መልሷን ይዛ እንድትመጣም ነገሯት።

«እትዬ፣ እውነት ትዕቢት ነው እንዴ?»

አሮጊቷ ወሬያቸውን ቀጠሉ።

ይህ በገና ሠሪ ዋንዛውን ራሱ መርጦ ይቆርጣል፤ አውታሩን ከበግ አንጀት ራሱ ይፈትላል፤ ቆዳውን ራሱ ያለፋል። አንድ በገና ለመጨረስ ዓመት ይፈጅበታል፤ ማንም ቢለምነው አይቸኩልም። አንድ ጊዜ አንድ ዲያቆን መጥቶ «ለመሸከም ቀለል ያለ ሥራልኝ» ቢለው፣ «ቀለል ያለ ከፈለግህ መቋሚያ ያዝ» ብሎ ከደጅ መለሰው። ሌላው ደግሞ አሥር አውታር እንደበዛበትና ሰባት እንደሚበቃው ቢነግረው፣ «ሰባት ጣት ሲቀርህ ተመለስ» አለው። ሚስቱ በዚህ ትበሳጫለች።

«ቤታችን ዝንብ እንኳ የማይገባው አንተን ፈርቶ ነው» ትለዋለች።

«ዝንብም ቢሆን ጆሮ ካለው ይግባ» ይላታል።

ኩራቱ ግን ከሜዳ የመጣ አልነበረም። በገና እንደ ክራር ጥርት ብሎ አይጮህም። አውታሮቹ ከሚያርፉበት እንጨት ላይ፣ በእያንዳንዱ አውታር ሥር፣ ጥፍር የማታህል ቁራጭ ቆዳ ትገባለች። አውታሩ ሲነካ ያችን ቆዳ እየዳሰሰ ይነዝራል፤ ድምፁ እንደ ንብ ቀፎ ከውስጥ ያጉረመርማል። ቆዳዋ በፀጉር ስፋት ወደፊት ከሄደች ድምፁ ይታፈናል፤ በፀጉር ስፋት ወደኋላ ከቀረች ባዶ ይሆናል። ቦታዋን ዓይን አያገኘውም፤ መለኪያም የለው። ሰውየው አሥሯን ለማስቀመጥ ሦስት ቀን ሙሉ አንገቱን ደፍቶ ያዳምጥ ነበር፤ በእነዚያ ቀናት ሚስቱ ጎረቤት ሄዳ ነው የምትውለው። ከእጁ የወጣ በገና ሲደረደር የሰማ ሰው፣ ጀርባውን ሰጥቶ እንደተቀመጠ «ይህስ የእሱ ነው» ይል ነበር።

እንዲህ ሲል አርባ ዓመት ሠራ። የሠራቸው በገናዎች ገሚሶቹ ገዳም ገቡ፤ ገሚሶቹ ብቻቸውን በሚጸልዩ አሮጊቶች ጓዳ ቀሩ። እሱን የሚያውቁት ጥቂት ደርዳሪዎች ብቻ ናቸው። ሌላው ሰው ዜማውን ሰምቶ ያለቅሳል እንጂ፣ ይህን ማን ሠራው ብሎ አይጠይቅም። ነገሩ ውስጥ ውስጡን ይበላው ነበር፤ ለሚስቱም አልነገራትም።

ከዚያ ዓይኑ ከዳው። መጀመሪያ ወስፌው አውራ ጣቱን ወጋው። ቀጥሎ መንገድ ላይ ሰላም የሚለውን ሰው በድምፁ ካልሆነ መለየት አቃተው።

«አንድ በገና ይቀረኛል» አላት ሚስቱን።

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ካንቺ ጋር መጨቃጨቅ ነዋ።»

አንድ ባለጸጋ የመጣው በዚህ ጊዜ ነው። ባለጸጋው ክፉ ሰው አልነበረም። ትልቅ አዳራሽ አሠርቷል፤ ለዐቢይ ጾም ካገሩ ሁሉ እንግዳ ጠርቶ በገና ሊያስደረድርበት አስቧል። «አባባ፣ በገናው ከዚያ በኋላ በአዳራሹ መካከል ይሰቀላል። ስምዎን ጎላ አድርገው ይጻፉበት፤ የገባ ሁሉ ያንብበው» አለው። በገና ሠሪው መልስ ለመስጠት ጊዜ አልፈጀም። ስሙን ተጽፎ ማየት ባይችል፣ ሰው ሲያነበው ይሰማል።

ሠራው። የቀረችውን ብርሃን ሁሉ እዚያ በገና ላይ ጨረሳት። ስሙንም በጣቱ እየዳበሰ ቀረጸው።

ያለቀ ዕለት ባለጸጋው ሊያየው መጣ፤ ባሕር ማዶ ሙዚቃ ተምሮ የተመለሰውን የወንድሙን ልጅም ይዞ ነበር። ጎረቤቶችና የሰፈሩ ቄስም ተከትለው ገቡ። የተማረው ልጅ አንዱን አውታር ነካ፤ ጆሮውን አስጠጋ፤ ሌላውን ነካ።

«ጋሼ፣ ይነዝራል» አለ አጎቱን። «ክሮቹ የሆነ ነገር ይነካሉ። ጥርት አይልም፤ ጉድለት አለው።»

ባለጸጋው ተሳቀቀ። «አባባ፣ ይቺን ነገር ማስተካከል ይቻል ይሆን?»

 ሚስቱ የባሏን መልስ ስለምታውቀው አስቀድማ አንገቷን ደፋች። ቄሱ ጠጋ ብለው «ወንድሜ፣ ዛሬ እንኳ ትሑት ሁን» አሉት በጆሮው።

ሰውየው በአዳራሹ መካከል የሚሰቀለውን ስሙን አሰበ። ከዚህ በኋላ ሌላ በገና እንደማይሠራም አሰበ።

«እሺ ጌታዬ» አለ።

ሁሉም ተገረመ። «እርጅና አለሰለሰው» አሉ ጎረቤቶቹ፤ ቄሱም መረቁት። እሱም በገዛ እጁ አሥሯን ቁራጭ ቆዳ አንድ በአንድ እያወጣ ምድጃው ውስጥ ጣላት። የተማረው ልጅ እንደገና ነካካውና «አሁን ጠራ» አለ። እንግዶቹ ከወጡ በኋላ ሚስቱ «ምን ነካህ?» ብትለው፣ የምድጃውን እሳት አመድ አለበሰው።

ቀኑ ደረሰ፤ አዳራሹ ሞላ። በገና ሠሪውን ከፊት ቢያስቀምጡትም «ለጆሮ ኋላ ይሻላል» ብሎ ከግድግዳው ሥር ተቀመጠ። ለመደርደር የተጠራችው ከሩቅ ገዳም የመጣች መነኩሲት ናት። በገናውን ጉልበቷ ላይ አቆመች፤ አማተበች፤ ጀመረች።

ድምፁ ጥርት ያለ ነው። ጥርት ያለ፣ ቀጭን፣ ልብስ የተሰጣበት ገመድ በነፋስ ሲመታ እንደሚሰማው ያለ። መነኩሲቷ ከበገናው ጋር አብራ የምታጉረመርመው ጸሎት ላይ ብቻዋን ቀረች። እንግዶቹ ለአክብሮት ያህል ትንሽ አዳመጡ። ከዚያ አንዱ ሳለ፤ አንዷ ውሃ ጠየቀች፤ ከኋላ ሁለት ሰዎች ስለ መንገዱ ብልሽት ማውራት ጀመሩ። በገና ሠሪው ሁሉንም ሰማ። ሰው በእሱ በገና ፊት ስለ መንገድ ሲያወራ ሰምቶ አያውቅም ነበር።

መነኩሲቷ እጇን ከአውታሩ አነሣች።

«ይህን የሠራው ማን ነው?»

ባለጸጋው በኩራት ብድግ ብሎ የተቀረጸውን ስም ጮክ አድርጎ አነበበላት። በገና ሠሪው አርባ ዓመት የጠበቃት ቃል ይቺ ነበረች።

መነኩሲቷ ግን ራሷን ነቀነቀች። «የዚህን ሰው በገና ከልጅነቴ ጀምሮ ደርድሬዋለሁ፤ አውቀዋለሁ። ይህ የእሱ አይደለም። ሞቷል ማለት ነው። ነፍሱን ይማር። ስሙን ሌላ ሰው እየነገደበት ነው።»

«ነፍሱን ይማር» አሉ እንግዶቹም በልማድ።

ሰውየው ከግድግዳው ሥር ተቀምጦ የገዛ ለቅሶውን ሰማ። ማንም አልገደለው፤ በእሺታው ነው የሞተው። ተነሣ። በሰው ትከሻ ላይ እየተደገፈ እስከ መካከል ድረስ ሄደ።

«አልሞትኩም፤ አምጪው» አላት።

በገናውን ተቀብሎ ወለሉ ላይ ተቀመጠ። የአንድ እግሩን ነጠላ ጫማ አውልቆ የቆዳ ማሰሪያውን ነቀለ። «ቢላ» አለ። ከእንግዶቹ አንዱ የዳቦ ቢላ አቀበለው።

«አባባ፣ በእንግዳ ፊት እንዲህ ያለ ነገር...» አለ ባለጸጋው።

«እንግዳው ይቆያል፤ የማይቆይም ይሂድ።»

አሥር ቁራጭ ቆረጠ። እያንዳንዷን በጥርሱ አለስልሶ ከአውታሩ ሥር አስገባት፤ ነካ፣ አዳመጠ፣ ገፋ፣ ነካ፣ ሳበ። ፀሐይ ከአንዱ መስኮት ወደ ሌላው ተዛወረች። ገሚሱ ሰው እያጉረመረመ ወጣ። የተማረው ልጅ ግን አልወጣም፤ ወለሉ ላይ ቁጢጥ ብሎ የሽማግሌውን ጣት ያያል። ሦስት ቀን የሚፈጀውን ሥራ ሰውየው በግማሽ ቀን ጨረሰው፤ ዓይን ስለሌለው የሚያታልለው ነገር አልነበረም። ሲጨርስ በገናውን መልሶ ለመነኩሲቷ ሰጣት።

አንድ ጊዜ ነካችው። ድምፁ ከወለሉ ተነሥቶ በተቀመጡት ሰዎች ደረት ውስጥ ያጉረመርም ጀመር። አንዲት ሴት ከእሷ የወጣ መስሏት እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። የሳለም፣ ስለ መንገድ ያወራም የለም። መነኩሲቷ እስኪመሽ ደረደረች።

«አሁንም ይነዝራል» አለ የተማረው ልጅ በመጨረሻ፣ ቀስ ብሎ።

«አዎ» አለ በገና ሠሪው። «አሁን ይነዝራል።»

ባለጸጋው ግን በሄዱት እንግዶቹ አፍሯል፤ ፊቱ ጠቁሯል። «ይህ እኔ ያዘዝኩት አይደለም። እዚህ አይሰቀልም» አለ።

«አይስቀሉት ጌታዬ። በገና የሚሰቀለው ደርዳሪ ሲታጣ ነው» ብሎ፣ በገናውን እንደያዘችው ይዛው እንድትሄድ መነኩሲቷን አሰናበታት።

ስሙ ያለበት የመጨረሻው በገና ያን ስም ማንም ወደማያነብበት ገዳም ሄደ። እሱ በአንድ እግር ጫማ፣ ግንባሩን ቀና አድርጎ፣ በሰፈሩ መካከል እየዳበሰ ቤቱ ገባ። ጎረቤቶቹ አይተውት «ያ ትዕቢቱ ተመለሰበት» ተባባሉ።

«ሌላው ጫማህስ?» አለችው ሚስቱ።

«መነኮሰ» አላት።

እትዬ አልጣሽ ወሬያቸውን እዚህ ላይ ጨረሱ። ከዚያ ወደ ጥሩዓለም ዞሩ።

«እንግዲህ አንቺም እንደዚያ ሰውዬ ነሽ። ባለጸጋው አልበደለም፤ ጆሮው ያልለመደውን ጠየቀ። የተማረውም ልጅ የሰማውን ነው የተናገረው፤ ውሸት አልጨመረም። ስቱዲዮ ያሉትም ሰዎችሽ እንደዚያው ናቸው፤ አትጥያቸው። ኮምፒውተሩንም አትርገሚው። ቢላ ነው፤ አውጣ ላሉት ያወጣል፤ አስገባ ላሉት ያስገባል። በዚያ ቤት የበደለው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እያወቀ እሺ ያለው። ሰው ሁሉ ትሑት ብሎ ያመሰገነውም ያን ቀን ብቻ ነበር፤ ይህን ልብ በዪ።

«ድምፅሽ ሲሰነጠቅ እኔ ሃያ ዓመት ሰምቼዋለሁ። የት ላይ እንደሚሰነጠቅ፣ ለምን እንደሚሰነጠቅ አንቺ ታውቂያለሽ፤ ያ ባለሙያ አያውቅም፤ እንዲያውቅም አይጠበቅበትም። አንቺ እሺ ካልሽ ግን ዘፈኑ ላይ የሚጻፈው የእሱ ስም አይደለም፤ የአንቺ ነው። የማያውቁሽ ያጨበጭቡልሻል። የሚያውቁሽ ሰምተው ነፍሷን ይማር ይሉሻል፤ አንቺም ኋላ ተቀምጠሽ ትሰሚያለሽ።

«ትዕቢት ነው ወይ ብለሽ ጠየቅሽኝ። አዎ፣ ነው። ነገ ስትሄጂ ደጅ ላይ ጥለሽው እንዳትገቢ።»